እሁድ ከሰዓት ጅማ፦ አሥራ አራት ማሲንቆ በአንድ ግቢ

አስቀድሜ ልናገር፣ ሙዚቀኛ አይደለሁም። ቤታችን ውስጥ ለሙዚቃ የቀረቡት አያቴ ብቻ ነበሩ፣ እሳቸውም ያፏጩ ነበር እንጂ መሣሪያ ነክተው አያውቁም። ስለዚህ ይሄ የባለሙያ ግምገማ አይደለም። ለአራት ወር ያህል እሁድ እሁድ ማሲንቆ ሊማር የሄደ፣ አንድ ደጋን፣ ማለትም የማሲንቆ መምቻ፣ ያበላሸ፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ ተናዶ "ሁለተኛ እዚህ አልደርስም" ብሎ የወጣ ሰው አስተያየት ነው። በሚቀጥለው እሁድ ግን ተመልሼ ሄጃለሁ።

ጅማ ውስጥ ከአጂፕ ሰፈር ብዙም በማይርቅ አንድ ግቢ ማሲንቆ የሚወዱ ሰዎች በየሳምንቱ ይሰበሰባሉ። ታፔላ የለውም። የባጃጅ ሹፌሮች ግን "ማሲንቆ የሚገዘግዙበት ግቢ" ስትሏቸው ወዲያው ይገባቸዋል፣ አንዳንዱም "እዚያ ምን ልታደርግ ነው?" ብሎ ዞር ብሎ ያያችኋል።

እኔም መጀመሪያ የሰማሁ ቀን አዝማሪ ቤት መስሎኝ ነበር። አይደለም። ጠጅ የለም፣ ቢራ የለም፣ ስማችሁን ጠይቆ በግጥም እያሞገሰ ግንባራችሁ ላይ ብር የሚጠብቅ ሰው የለም። መድረክም የለም። ሰዎች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፣ የቻለ ይመታል፣ ያልቻለ ይማራል፣ ሁለቱንም ያልፈለገ ቡናውን ይጠጣል። ልዩነቱን አስቀድማችሁ ካላወቃችሁ ትቆጣላችሁ። አንድ ጓደኛዬን ይዤ ሄጄ ነበር፣ አንድ ሰዓት ሙሉ "ታዲያ መቼ ነው የሚጀመረው?" ሲለኝ ቆየ። ተጀምሮ እኮ ነው! ይሄ እየተማማሩ፣ እየተሳሳቱ፣ አንዱን ዜማ አሥር ጊዜ እየደጋገሙ መቀመጥ ነው ዝግጅቱ። ተመልካች ሆናችሁ ከሄዳችሁ ግማሹ ይሰለቻችኋል።

ሰዓቱን በተመለከተ ቅሬታ አለኝ። 9 ሰዓት ይባላል። 9 ሰዓት ሄዳችሁ የምታገኙት ግቢውን የምትጠርገውን ልጅና ፀሐይ ላይ የተደረደሩትን ማሲንቆዎች ነው። ሰው የሚሞላው 10 ከሩብ ገደማ ነው። ለሦስት ሳምንት የአበሻ ቀጠሮ ነው እያልኩ ሳማ ከረምኩና ኋላ ላይ ነው የገባኝ፣ ከተሰብሳቢው ግማሹ የዐስርን ሶላት ሰግዶ ነው የሚመጣው። ደግ አደረጉ። ታዲያ መጀመሪያውኑ 10 ሰዓት ብትሉንስ? ብዬ ጠይቄ ነበር። "10 ካልን 11 ይመጣሉ" ተባልኩ። መልስ አጣሁ።

መቀመጫው የእኛው የጅማ በርጩማ ነው፣ ያ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው ባለ ሦስት እግር። ወገብ ያማል እንዳትሉ፣ ለማሲንቆ ከዚህ የተሻለ መቀመጫ ያለ አይመስለኝም። ዝቅ ስትሉ ጉልበታችሁ ከፍ ይላል፣ ሳጥኑ ጭናችሁ መሀል ቁጭ ይላል፣ አንገቱ ትከሻችሁ ጋ ይደርሳል። ክሩን ከቆዳው ከፍ አድርጋ የምትይዘው ትንሽ እንጨት ደግሞ ብርኩማ ነው ስሟ፣ እሷም በቋንቋችን መቀመጫ ማለት ናት። እና በርጩማ ላይ ተቀምጣችሁ ብርኩማ ታስተካክላላችሁ። ይሄን ቀልድ ለአዲስ መጪ ሁሉ ይነግሩታል፣ እኔም አሁን ነገርኳችሁ።

ለማያውቅ ሰው ስለ መሣሪያው ትንሽ ልበል። ማሲንቆ ያለው አንድ ክር ነው። ግን አንድ ፀጉር ማለት አይደለም፤ ብዙ የፈረስ ጭራ አንድ ላይ ተጠምሮ ነው አንድ ክር የሚሆነው። እንደ ቀስት የጎበጠው ደጋንም የሚወጠረው በፈረስ ጭራ ነው። ጭራ በጭራ ሲፋተግ ነው ያ ሆድ የሚያባባ ድምፅ የሚመጣው። ጣታችሁ ክሩን እንጨቱ ላይ አይጫነውም፣ አየር ላይ እንዳለ ከጎን ይነካዋል እንጂ። እንደ ጊታር ምልክት የሚሆን መስመር የለውም። "እዚህ ጋ ንካ" የሚላችሁ ጆሯችሁ ብቻ ነው። ክራር መቺ ከትዝታ ቅኝት ወደ ባቲ ቅኝት ሲሄድ ክሮቹን እንደገና ይቃኛል። ማሲንቆ መቺ ግን የሚቀይረው የጣቱን ቦታ ነው። ትዝታም፣ ባቲም፣ አምባሰልም፣ አንቺ ሆዬም እዚያችው አንዲት ክር ላይ ናቸው። ለጀማሪ ይሄ ማለት የመጀመሪያውን ወር የበር ማጠፊያ ድምፅ እያወጣችሁ ታሳልፋላችሁ ማለት ነው። እናቴ ቤት ውስጥ ስለማመድ ሰምታ "ልጄ፣ አዝማሪ ልትሆን ነው ወይስ በሩን ልታስጠግን?" ብላኛለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ እዚያ ግቢ ደጋግሜ እንድሄድ ያደረገኝ። ማሲንቆ ከድሮም የብቻ መሣሪያ ነው። አዝማሪው ከራሱ ጉሮሮ ጋር አስማምቶ ይቃኘዋል፣ ሌላ የሚያማክረው የለም። ታዲያ አሥራ አራት ሰው አሥራ አራት ማሲንቆ ይዞ ሲመጣ ምን እንደሚሆን አስቡት። የአንዱ ወፍራም ነው፣ የሌላው ቀጭን ነው፣ የአንዱ ሳጥን ትልቅ፣ የሌላዋ የልጅ ጭንቅላት የምታክል። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲጀምሩ የንብ ቀፎ ተገልብጦ የወደቀ ነው የመሰለኝ።

ያኔ ነው ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው አዛውንት እጃቸውን ያነሱት። ሁሉም ዝም አለ። እሳቸው ባዶ ክራቸውን አንዴ ብቻ ረዘም አድርገው ሳቡት። ከጎናቸው ያለው ልጅ መቃኛውን እያዞረ ድምፃቸው ላይ እስኪደርስ ጠበቁት። ከዚያ የእሱን ቀጣዩ ያዘ፣ የእሷን ደግሞ ቀጣዩ። ድምፁ እንደ ሻማ ከሰው ወደ ሰው እየተለኮሰ ክቡን ዞሮ ተመልሶ ጋሼ ጋ ደረሰ። ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ማንም አልቸኮለም። ከዚያ አንድ ላይ ሲጀምሩ፣ እመኑኝ፣ ድምፁን የሰማሁት በጆሮዬ ብቻ አይደለም፣ በተቀመጥኩበት በርጩማ በኩልም ነበር። አንዲት ቀጭን ብቸኛ ድምፅ ናት ብዬ የማውቃት ነገር ወንዝ ሆነችብኝ።

የአገራችንን የባህል መሣሪያዎች አሰባስቦ በቡድን ማጫወት ራሱ ረጅም ዕድሜ ያለው ነገር አይደለም። ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ በግብፅ ተወላጁ የሙዚቃ ሰው በሃሊም ኤል ዳብ አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። እነ ጌታመሳይ አበበ ማሲንቆ የመቱበት ቡድን ነው። ቻርልስ ሰተን የሚባል አሜሪካዊ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛም በዚያው ዘመን ማሲንቆ ተምሮ አብሯቸው ተጫውቷል። ይሄን ታሪክ የነገረን የግቢው አንድ መምህር ነው፣ እኔ "ለእኔ ዕድሜው አልፏል" እያልኩ ሳላዝን ሰምቶ። ፈረንጅ ከባሕር ማዶ መጥቶ ከቻለ አንተ እዚሁ ጅማ ከመንደራ ሰፈር መጥተህ ያቅትሃል ወይ ነው ነገሩ።

ዜማዎቹ የተቀላቀሉ ናቸው፣ እንደ ከተማችን። አንዱ የጎንደርን ስልት ይዞ ይመጣል፣ ሌላው እነ ለገሰ አብዲን እየሰማ ያደገ ነውና በአፋን ኦሮሞ ይዘፍናል፣ ደጋኑም አብሮ ይቀየራል፣ አጠር አጠር ያለና የሚያስጨፍር ይሆናል። እኔ ይሄኛውን እወደዋለሁ። አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አለች፣ ሁለቱንም አቀላጥፋ ትመታለች። ሴት ልጅ ማሲንቆ ይዛ ማየት ብዙም ያልተለመደ ነው፣ መጀመሪያ ላይ አንዳንድ ትልልቅ ሰዎች ፊታቸውን አጥቁረው ነበር አሉ። አሁን ጋሼ ሲደክማቸው መቃኛውን ድምፅ የምትሰጠው እሷ ናት። የእኔን ጣት ያስተካከለችውም እሷው ነች፣ "ወንድሜ፣ ክሩን አትፍራው፣ አይነክስህም" ብላ።

መጀመሪያ ላይ ያነሳሁትን የደጋኑን ነገር ልንገራችሁ። ቡናው ላይ አንዳንድ እሁድ ቡና ቀላ ይቀርባል፣ ቡናው ከነገለፈቱ በቅቤ የሚጠበሰው። ይጣፍጣል። ችግሩ በእጅ ነው የሚበላው። እኔ ሞኙ አፍሼ በልቼ፣ ጣቴን ሱሪዬ ላይ ጠረግ አድርጌ፣ የተዋስኩትን ደጋን በጭራው በኩል አነሳሁት። ከዚያ ብስብ፣ ብስብ፣ ወይ ፍንክች! ድምፅ የለም። ደጋኑ ክሩ ላይ እንደ በረዶ ይንሸራተታል። ጭራ የሚይዘው በእጣን እየታሸ ስለሚሻክር ነው፣ ቅባት ከነካው አለቀለት። ጋሼ ተቀበሉኝና አሸተቱት።

"ቅቤ የጠጣ ጭራ አይዘፍንም፣ የኔ ልጅ።"

"ይቅርታ ጋሼ፣ እከፍላለሁ።"

"ምን ትከፍላለህ፣ እጠበው እንጂ።"

በሳሙና አጠብኩት፣ አደረቅኩት፣ እጣን አሸሁት። ግማሹ ጭራ በእጄ ላይ ተነቃቅሎ ቀረ። የቀረውን እሳቸው በሳምንቱ በአዲስ ቀየሩት። ከዚያ ወዲህ ቡና ቀላ ሲመጣ ሁሉም ሰው የሚያየው እኔን ነው።

ክረምት ላይ ባትጀምሩ ይሻላል። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ቆዳው እርጥበት ይጠጣና ይላላል፣ ድምፁ እንደታፈነ ሰው ይሆናል፣ የቃኛችሁት ነገር ከአሥር ደቂቃ በኋላ ወርዶ ይገኛል። ለዚህ ነው ማሲንቆዎቹን ፀሐይ ላይ የሚደረድሯቸው፣ ፀሐይ ከሌለ ደግሞ የቡናው ከሰል ዳር ያሞቋቸዋል። በጣም ካስጠጓቸው ቆዳው ይሰነጠቃል፣ አንዷ በዓይኔ እያየሁ ጧ ብላለች። በነሐሴ አንድ እሁድ "ተቀበል" ሲባባሉ አንዱ ወጣት ስለ ማሲንቆው ሆኖ ያወጣት ግጥም ይቺ ናት፦

ክረምቱን ምን ብዬው፣ ምን አርጌው አገኘኝ፣
ቆዳዬን አላልቶ ድምፄን የነፈገኝ።

ተቀበል የሚሉት የመጨረሻው ሰዓት ነው፣ ከተቀመጠው ሰው አንዱ ግጥም ይወረውራል፣ መቺው ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል። ጊዜ ከሌላችሁ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ለዚች ብቻ ድረሱ። ግን ስለ አዲስ መጪ መግጠም ይወዳሉ፣ ቆዳችሁ ስስ ከሆነ ከኋላ ተቀመጡ። ስለ እኔና ስለ ቅቤው የተባለውን አልጽፈውም።

ያናደደኝ ነገር ስፒከሩ ነው። አንድ ደግ ሰው ስፒከርና ማይክ በስጦታ አምጥቶላቸው በበዓል ሰሞን ሁለት ሳምንት ሞከሩት። ማሲንቆ በተበላሸ ስፒከር ምን እንደሚመስል መግለጽ አልችልም። ወንዝ ያልኳችሁ ነገር የተቆራረጠ ጩኸት ሆነ፣ አንዱ መቺ ብቻ ማይኩ ላይ ሆኖ ሌላው ተመልካች ሆነ። ያን ቀን ነው አንደኛው ተናድጄ የወጣሁበት። ደግነቱ በሁለተኛው ሳምንት መብራት ጠፋ። የጨለመችው ያቺ የመጨረሻ ግማሽ ሰዓት፣ ጋሼ ብቻቸውን አንቺ ሆዬን ሲመቱ፣ ከአራቱ ወር ሁሉ ትበልጥብኛለች። ስልክ ከፍተው የሚቀርጹ ልጆች እንኳ ያን ቀን ዝም ብለው ሰሙ። በሌላ ቀን ግን እነዚህ ቀራጮች መሀል እየገቡ ያስቸግራሉ፣ አንድ ሰው ሊናገራቸው ይገባል።

ሁለተኛው ንዴቴ የሚዋሱት መሣሪያዎች ናቸው። አራት ብቻ ናቸው፣ አንዷ ቆዳዋ የተጣፈ ነው። ጀማሪ ከበዛ ለአንድ ሰዓት ተራ ትጠብቃላችሁ፣ ተራችሁ ሲደርስ ደግሞ ይመሻል። ለወር የምናዋጣት 100 ብር ለቡናና ለጭራ ካልሆነ ለሌላ አትበቃም፣ ስለዚህ የሚቀየር አይመስለኝም። ሁለት ሦስት ሳምንት ሞክራችሁ ከወደዳችሁት የራሳችሁን አሠሩ። ስታሠሩ ከመክፈላችሁ በፊት ግን መቺ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ለቱሪስት የሚሸጡት ያጌጡት ግድግዳ ላይ ለመስቀል ነው የተሠሩት። ከፈረስ ጭራ ፋንታ ናይለን የተወጠረባቸውም አሉ። ናይለኑ ዝናብ ይችላል፣ ቶሎም አይበጠስም፣ ጋሼ ግን አንዱን ነክተው "ይሄ የዓሣ ማጥመጃ ነው" ብለው መልሰውታል።

ልጆች ይዞ መሄድ ይቻላል። ሽንት ቤቱ ንጹህ ነው፣ ግን ውኃ የሚቀዳው ከበርሜል ነው። ዝናብ ከዘነበ ግቢው ጭቃ ይሆናል፣ ቦቲ አድርጉ። ከሌላ ከተማ እንግዳ ከመጣባችሁ ጠዋት ጅሬን አውጥታችሁ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አሳዩት፣ ከሰዓት ደግሞ እዚህ አምጡት፣ ግን 9 ሰዓት ብላችሁ አታድክሙት።

እኔ የራሴን ባለፈው ወር አሠርቻለሁ። ጎረቤቴ ማታ ማታ ግድግዳውን ይደበድባል። ባለፈው ሳምንት ግን አልደበደበም፣ ወይ ተሽሎኛል ወይ ቤት ቀይሯል።