ለማስተማር በሄድኩበት ሁሉ የያዝኩት ሌንስ፦ ካነን አርኤፍ 100-400 ከወራት በኋላ

ውጭ አገር ሄዶ የሚያስተምር ሰው ፎቶ የሚያነሳበት ጊዜ ጥቂት ነው። ቀኑን ክፍል፣ ስብሰባና የተማሪ ወረቀት ይወስደዋል። የሚተርፈው ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። እኔ የማነሳቸው ወፎችም በደንብ የሚንቀሳቀሱት ያኔ ስለሆነ ሰዓቱ ይገጥማል። የማይገጥመው ብርሃኑ ነው። ስለ ሌንሱ ያለኝ ሐሳብ ሁሉ የሚነሳውም ከዚህ ነው።

ሩቁን ከ100 እስከ 400 ሚሊሜትር የሚያቀርበውን ይህን ሌንስ ከአንድ የትምህርት ዘመን በላይ ይዤው ዞሬያለሁ። ኮንፈረንስም ብሄድ፣ በእንግዳ መምህርነት ሴሚስተር ሙሉ ብቆይም አብሮኝ ነው። የምገጥመው ኢኦኤስ አር7 ካሜራ ላይ ነው። የካሜራው ሴንሰር (ብርሃን የሚቀበለው ክፍል) ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው አነስ ያለው ዓይነት ስለሆነ 400 ሚሊሜትሩ እንደ 640 ሆኖ ያቀርባል።

የገዛሁት ለክብደቱ ብዬ ነው። ሌንሱ 635 ግራም፣ ካሜራው ከነባትሪው 612 ግራም ነው። ሁለቱ ተደምረው አንድ ኪሎ ከሩብ ገደማ ይሆናሉ። ብዙ አየር መንገዶች ለእጅ ሻንጣ የሚፈቅዱት 7 ኪሎ ነው። ላፕቶፕ፣ ቻርጀር፣ መጽሐፍና ያልታረመ ፈተና ሲገባበት ለካሜራ ብዙም ቦታ አይተርፍም። ባለሙያዎቹ የሚይዙት ብርሃን በብዛት የሚያስገባ 500 ሚሊሜትር ኤፍ4 ሌንስ ብቻውን ከ3 ኪሎ በላይ ነው። ያንን የያዘ መምህር አንድ ነገር ጭነት ክፍል መላኩ አይቀርም። እኔ ሌንሴንም ላፕቶፔንም ከእጄ አልለይም። ትርፍ የሊቲየም ባትሪም ቢሆን በአቪዬሽን ደንብ መሄድ ያለበት በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው። ሁሉም ነገር አንድ ቦርሳ ውስጥ ሲያልቅ እፎይ ያሰኛል።

በዚህ ላይ ሲዘጋ ርዝመቱ 16 ሴንቲሜትር ተኩል አይሞላም። ላፕቶፑ አጠገብ ይቀመጣል፣ ክፍልም አብሮኝ ይገባል። በርክሌይ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ 94 ሜትር የሚያህል የሰዓት ማማ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ፔሪግሪን የሚባሉ ጭልፊቶች ጫጩት ያሳድጉበታል። እንዲህ ያለ ቦታ በሁለት ክፍለ ጊዜ መካከል ቀና ማለት ብቻ ይበቃል። ግን ሌንሱ ማረፊያ ቤት ከቀረ ምን ዋጋ አለው? ትልቅ ሌንስ ማረፊያ ቤት ይቀራል፤ ይሄ አይቀርም።

አሁን ወደ ብርሃኑ ልምጣ። 400 ላይ የሌንሱ ትልቁ የብርሃን ክፍተት ኤፍ8 ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ክፍተቱ ይጠባል። ከኤፍ5.6 ጋር ሲወዳደር የሚያስገባው ብርሃን ግማሽ፣ ከኤፍ4 ጋር ደግሞ ሩብ ብቻ ነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ይሄ ትዝም አይለኝም። ከመውጣቷ በፊት ግን ቅርንጫፍ ላይ ላለች ወፍ ሻተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/250 ሰከንድ ሳደርገው አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 6400 ይደርሳል። ያ ፎቶ ያስኬዳል። ኖይዙ (ፎቶው ላይ የሚታየው ነጠብጣብ) በሶፍትዌር ሲቀነስ የላባው መስመር ሳይጠፋ ይተርፋል፤ ለስላይድ ደግሞ ከበቂ በላይ ነው። ወፏ ስትነሳ ግን 1/2000 ያስፈልጋል። በዚያው ብርሃን አይኤስኦውን ስምንት እጥፍ ማሳደግ ማለት ነው፤ አይሆንም። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ የተቀመጡትን ብቻ አነሳለሁ፣ የሚበሩትን ለቅዳሜና እሁድ አቆያለሁ። የእንስሳ ዓይን እየፈለገ የሚከተለው አውቶፎከስ በጨለምለም ያለ ሰዓትም ሥራውን ይሠራል። የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያካክሰው ማረጋጊያም ብርቱ ነው። ወፏ ዝም ካለች በእጄ ብቻ ይዤ 1/60 ላይ ጥርት ያለ ፎቶ አገኛለሁ። ትራይፖድ (ባለሦስት እግር ማቆሚያ) መሸከም የተውኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሳልጠብቀው የወደድኩት ነገር ቅርብ ማንሳቱን ነው። 400 ላይ ሆኖ አንድ ሜትር ገደማ ድረስ ይጠጋል። ያኔ በዚህ ካሜራ ፍሬሙ የሚይዘው 5 ሴንቲ ተኩል ገደማ ስፋት ነው። አበባ ላይ ያረፈች ቢራቢሮ ፍሬሙን ትሞላዋለች። የክንፏ ቅርፊት እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ተደራርቦ ይታያል። አጠገቧ ስለማልደርስም አትሸሽም። ከምሳ በኋላ በግቢው አትክልት ቦታ ዞር ዞር ለማለት ከዚህ የተሻለ ሌንስ አላውቅም።

የሚያጥረውም አለ። ሆንግ ኮንግ ያለው የማይ ፖ ረግረግ ረግረጎችን በሚጠብቀው ዓለም አቀፍ የራምሳር ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1995 የተመዘገበ ነው። ለመግባት አስቀድሞ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል። በብርዱ ወራት ፊቱ ጥቁር የሆነው ብርቅዬው ስፑንቢል (መንቁሩ ማንኪያ የሚመስል ወፍ) እዚያ ይሰነብታል። ግን ውሃው ካልሞላ ወፎቹ ጭቃው ላይ ሩቅ ናቸው፣ 400 አይደርስባቸውም። የባሕሩ ውሃ የሚሞላበት ሰዓት ከክፍል ሰዓቴ ጋር የሚገጥምበትን ቀን መጠበቅ ግድ ነው።

ወፎቹ ሩቅ ሲሆኑ ሌንሱን ወደ 100 አወርደዋለሁ። ያኔ መንጋው በሙሉ ይገባል። ስታቲስቲክስ ስለማስተምር እንዲህ ያለው ፎቶ ይጠቅመኛል። ፎቶውን በካሬ ከፋፍዬ ለተማሪዎች እሰጣለሁ። በዕጣ የወጡትን ጥቂት ካሬዎች ቆጥረው ጠቅላላውን ይገምታሉ። መንጋው አንድ ጥግ ላይ ሲታጨቅ የእያንዳንዱ ቡድን ግምት በጣም ይራራቃል። ስለ ናሙና ስህተት የሚነሳው ጥያቄም ከዚያ ይመጣል። ክፍሉ የዚያን ቀን ያህል ሞቆ አይቼው አላውቅም።

ሌንሱ ውሃና አቧራ መከላከያ ማሸጊያ የለውም። ዝናብ ሲመጣ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። እስካሁን ቀለበቱም ላስቲኩም እንደነበረ ነው። በሞቃትና እርጥበት ባለው አገር የሚያስተምር ሰው በተለይ ከኤሲ (አየር ማቀዝቀዣ) ክፍል ሲወጣ ይጠንቀቅ። ቀዝቃዛ መስታወት ላይ ጤዛ ወዲያው ይይዛል። ቦርሳውን ሳይከፍቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ውጭ ማቆየት ይበቃል።

ፎቶ ለመሸጥ የሚያስብ ካለ የቪዛውን ሁኔታ አስቀድሞ ይጠይቅ። የማስተማር ፈቃድ ብዙ ጊዜ ሌላ ገቢ ያለው ሥራ አይጨምርም።

ማስፋፊያ (ሌንሱና ካሜራው መካከል ገብቶ ይበልጥ የሚያቀርብ ተጨማሪ) ልጨምር ወይ የሚለውን ብዙ አስቤበታለሁ። 1.4 እጥፍ የሚያደርገው ይገጥምለታል፤ 560 ኤፍ11 ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ነፃ ለሆነ ሰው ያዋጣል። እኔ ግን ነፃ የምሆነው ጎህ ሲቀድ ነው፣ የቀረውን ብርሃን ዳግመኛ በግማሽ መቁረጥ አልፈልግም። በዚያ ገንዘብ ለብቻው የሚሸጠውን የሌንስ ኮፍያና የዝናብ ልባስ እገዛለሁ።