ሊሴ፣ ሳንፎርድ፣ አይ.ሲ.ኤስ. ወይስ ቢንግሃም? ልጅ ከማስመዝገባችሁ በፊት የሚነበብ ንጽጽር

በየዓመቱ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ስልኬ ይበዛል። አንዱ ለአፍሪካ ኅብረት ወይም ለተመድ ሥራ ተመድቦ አዲስ አበባ የሚገባ የውጭ አገር ሰው ነው። ሌላዋ ልጆቿን ይዛ ከአሜሪካ ለመመለስ የቆረጠች ዘመድ ናት። የቀሩት እዚሁ ሠርተው የሚኖሩ ወላጆች ናቸው። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ «የትኛው ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት ይሻላል?»

እኔም መልሼ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ልጁ 12ኛ ክፍልን ሲጨርስ የት አገር እንዲማር ታስባላችሁ? ክፍያውንስ የምትከፍሉት ከብር ደመወዝ ነው ወይስ ከዶላር? በእነዚህ ሁለት መልሶች ብቻ ምርጫው ከግማሽ በላይ ይቀንሳል። ሦስተኛም ጉዳይ አለ፤ እሱን ግን ሰው ብዙ ጊዜ አይጠይቀኝም። የአማርኛ ጉዳይ ነው። በኋላ እመጣበታለሁ።

አራቱ ጎን ለጎን

ከአይ.ሲ.ኤስ. (ኢንተርናሽናል ኮሚዩኒቲ ስኩል) ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1964 የአሜሪካ ኮሚዩኒቲ ትምህርት ቤት ተብሎ ነው የተከፈተው። ኦልድ ኤርፖርት አካባቢ ነው ያለው። ትምህርቱ በአሜሪካ መንገድ የተቃኘ ሲሆን በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት የአይ.ቢ. (ኢንተርናሽናል ባካሎሬት) ዲፕሎማ ይሰጣል። ልጆቹ ከየአገሩ ይመጣሉ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ብዙዎቹ ይሄዳሉ። ስለዚህ አዲስ ልጅ ብቻውን ቆሞ አይታይም። በየሦስት ዓመቱ ከናይሮቢ ወደ ጄኔቫ፣ ከጄኔቫ ወደ ባንኮክ ለሚዛወር ቤተሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ልጁ የጀመረውን ትምህርት በሚቀጥለው አገር ሳይቸገር ይቀጥለዋል። ዋጋው ግን ይከብዳል። ከፍ ያሉት ክፍሎች ላይ በዓመት ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ነው።

ዋጋው እንዲህ የሆነበት ምክንያት አለው። ከብዙዎቹ ወላጆች ጀርባ ከፋይ መሥሪያ ቤት አለ። ተመድ ለምሳሌ ከውጭ ለሚቀጥራቸው ሠራተኞቹ የልጆች ትምህርት ድጎማ ይሰጣል። በዚያው ሕንፃ፣ አንዳንዴም በዚያው ቢሮ ለሚሠራው የአገር ውስጥ ቅጥር ግን ይህ ድጎማ የለም። ሁለት ጎረቤት ጠረጴዛዎች፣ ሁለት የተለያዩ ምርጫዎች ማለት ነው። የሥራ ባልደረባችሁ ልጁን እዚያ ስላስገባ እናንተም ማስገባት እንዳለባችሁ እንዳይሰማችሁ።

ሊሴ ገብረ ማርያም ሌላ ዓለም ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ተከፈተ። በጣልያን ወረራ ጊዜ በወደቁት አርበኛ በደጃዝማች ገብረ ማርያም ስም ነው የተሰየመው። ቸርችል ጎዳና አጠገብ፣ መሐል ከተማ ነው። የፈረንሳይን ሥርዓተ ትምህርት ይከተላል፤ መጨረሻውም ባካሎሬያ የሚባለው የፈረንሳይ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ነው። ብዙዎቹ ተማሪዎች ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ አያት፣ አባትና ልጅ የተማሩባቸው ቤተሰቦች አሉ። ክፍያው እንደ ዜግነት ይለያያል። ስለዚህ ኢትዮጵያዊ ወላጅ የራሱን ሰንጠረዥ ይጠይቅ፤ ከፈረንጅ ጓደኛው የሰማውን ቁጥር ይዞ ተስፋ አይቁረጥ።

የሊሴ ትልቁ ፈተና መግቢያው ነው። ልጁ በሦስት ዓመቱ ከገባ ፈረንሳይኛ እንደ ጨዋታ ይገባዋል። በአሥር ዓመቱ ከገባ ግን ሒሳቡንም ሳይንሱንም ታሪኩንም በማያውቀው ቋንቋ ነው የሚጀምረው። አንድ ልጅ በእንግሊዝኛ ከተማረበት ትምህርት ቤት 6ኛ ክፍል ላይ አውጥታችሁ ወደዚያ ለማስገባት ብታስቡ እኔ አልመክርም። ሌላው፣ ቤት ውስጥ ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ከሌለ የቤት ሥራውን ማን ያግዛል? ይህን ቀድሞ ማሰብ ይሻላል። አስጠኚ የምትቀጥሩ ከሆነ ወጪውን ከክፍያው ጋር ደምሩት።

ሳንፎርድን የጀመሩት ወይዘሮ ክሪስቲን ሳንፎርድ ናቸው። ባለቤታቸው ዳንኤል ሳንፎርድ በነጻነቱ ዘመቻ ከንጉሡ ጎን የነበሩ እንግሊዛዊ መኮንን ናቸው። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. በቤታቸው ጥቂት ልጆች ከማስተማር ነው ያደገው። የእንግሊዝ መንገድ ነው፤ አይ.ጂ.ሲ.ኤስ.ኢ. የሚባለው ፈተና (በኋላ አብራራዋለሁ)፣ ከዚያም አይ.ቢ. አለው። እዚህ አገር ሥር የሰደደ ቤተሰብ፣ ልጁ በእንግሊዝኛ ጎበዝ እንዲሆን የሚፈልግ፣ ግን ጓደኞቹ በየሁለት ዓመቱ እንዲበተኑበት የማይፈልግ ከሆነ መጀመሪያ ማየት ያለበት ይህን ነው እላለሁ።

ቢንግሃም አካዳሚ የተከፈተው በ1946 እ.ኤ.አ. ነው። ኤስ.አይ.ኤም. የተባለው የወንጌላውያን ሚሲዮን ለሚሲዮናውያን ልጆች ነው ያቋቋመው። ፈተናው ካምብሪጅ የተባለው የእንግሊዝ የፈተና ተቋም የሚያዘጋጀው ነው። የሃይማኖት ትምህርቱ ከክፍል እስከ ጠዋት ስብሰባ ድረስ ያለ ነገር ነው። አንዳንዱ ቤተሰብ የሚመርጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሌላው ደግሞ የሚተወው በዚሁ ምክንያት ነው። ከመመዝገብ በፊት በቤት ውስጥ ተነጋገሩበት።

የጀርመን ኤምባሲ ትምህርት ቤትና የጣልያን ትምህርት ቤትም አሉ። ወደ በርሊን ወይም ወደ ሮም የምትመለሱ ከሆነ ሌላ ቦታ መፈለግ አያስፈልጋችሁም። ሌሎቻችሁ ግን ስለ ቋንቋው ለሊሴ ያልኩትን እዚህም አስቡት።

በሩ ላይ ያለው ስምና እጅ ላይ የሚቀረው ወረቀት

«ኢንተርናሽናል» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም ዋስትና አይደለም። ማንም በሩ ላይ ሊጽፈው ይችላል። መታየት ያለበት ልጁ ሲጨርስ የሚይዘው ወረቀት ማን ፈርሞ የሚሰጠው እንደሆነ ነው።

ይህን የተማርኩት ተቃጥዬ ነው። የእህቴን ልጅ ካምብሪጅ ያስተምራል የተባለ አንድ ትምህርት ቤት አስገባናት። መጽሐፉ ካምብሪጅ ነው፤ ደብተሩ ላይ ካምብሪጅ አለ፤ ዩኒፎርሙም ያምራል። 10ኛ ክፍል ስትደርስ ግን ትምህርት ቤቱ ራሱ የተመዘገበ የፈተና ጣቢያ እንዳልሆነ አወቅን። ልጆቹ ሌላ ቦታ ሄደው በግል ተፈታኝነት ነው የሚቀመጡት፤ ክፍያውም ሌላ ነው። ልጅቷ ተፈትና አለፈች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ያን ዓመት እኔና እህቴ እንቅልፍ አልነበረንም። አይ.ቢ. የፈቀደላቸውን ትምህርት ቤቶች ዝርዝር ድረ ገጹ ላይ ያወጣል። ካምብሪጅም እንዲሁ። የፈረንሳይ መንግሥት ዕውቅና የሰጣቸውም ይታወቃሉ። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ፍለጋ ነው። «እጩ ነን» እና «ተፈቅዶልናል» የሚሉት ሁለት ቃላትም የተለያዩ መሆናቸውን አትርሱ።

አሁን ወረቀቶቹን ራሳቸውን እንያቸው። አይ.ጂ.ሲ.ኤስ.ኢ. ልጆች 16 ዓመት አካባቢ ሲሆናቸው የሚወስዱት ፈተና ነው። ብዙ ወላጅ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ይህ ፈተና የመንገዱ አጋማሽ እንጂ መጨረሻ አይደለም። እንግሊዝ አገር ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ከዚያ በላይ ኤ ሌቭል (የእንግሊዞቹ የመጨረሻ ደረጃ ፈተና) ወይም አይ.ቢ. ያስፈልጋል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱን «ከአይ.ጂ.ሲ.ኤስ.ኢ. በኋላ ልጆቻችሁ የት ይሄዳሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከተድበሰበሰ የቀሩትን ሁለት ዓመታት ሌላ ቦታ ልትፈልጉ ነው ማለት ነው።

የአይ.ቢ. ዲፕሎማ ከባድ ነው። ስድስት ትምህርት አለው፤ ሦስቱ በከፍተኛ ደረጃ የሚወሰዱ። ከዚያ ላይ 4,000 ቃል የሚደርስ የምርምር ጽሑፍ አለ። ከ45 ነጥብ ቢያንስ 24 ያስፈልጋል። ጥያቄ መጠየቅ ለሚወድ፣ መጻፍ ለማይፈራ ልጅ እጅግ ጥሩ ነው። በአንድ ትምህርት እሳት የሆነ፣ በሌላው የሚወድቅ ልጅ ግን ሊጎዳበት ይችላል። እንዲህ ላለው ልጅ ሦስት ትምህርት ላይ ብቻ የሚያተኩረው ኤ ሌቭል ይቀላል። ባካሎሬያው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ተለውጧል። ከውጤቱ 40 በመቶው በሁለቱ የመጨረሻ ዓመታት ከሚሠራው ነው የሚመጣው። የመጨረሻው ፈተና 60 በመቶ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ክፍያ ከአሜሪካና ከእንግሊዝ ጋር ሲነጻጸር በጣም ዝቅተኛ ነው። የሊሴን ጠቅላላ ወጪ ስታሰሉ ይህን አብራችሁ አስቡ።

ልጁ እዚሁ አገር ዩኒቨርሲቲ እንዲገባ ከፈለጋችሁ የውጭ ወረቀቱ አቻ ግምት ያስፈልገዋል። ሥራው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። የትኞቹን ትምህርቶች መያዝ እንዳለበት 9ኛ ክፍል ሳይገባ ጠይቁ፤ 12ኛ ክፍል ላይ ስትደርሱ ማስተካከል አይቻልም።

የ2014ቱ ብሔራዊ ፈተና ውጤት ከወጣ በኋላ ብዙ ወላጅ ደንግጧል። ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት። «ከዚህ ፈተና ልጄን አውጡልኝ» ያሉኝ አሉ። ጭንቀታቸው ይገባኛል። ግን ቁጥሩ የአገሪቱ ነው፤ የእያንዳንዱ ትምህርት ቤት አይደለም። ልጃችሁ ጥሩ አስተማሪ ያለበት የግል ትምህርት ቤት ውስጥ ደህና ከሆነ፣ በፍርሃት ብቻ አታንሱት።

ብርና ዶላር

ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪው ገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 አለፈ። በዓመት 10 ሺህ ዶላር የሚያስከፍል ትምህርት ቤት ዋጋ አልጨመረም እንበል። ለብር ደመወዝተኛው ግን ያው ክፍያ ከ570 ሺህ ብር ተነሥቶ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ሆነ። የማውቃቸው ቤተሰቦች በዚያ ዓመት ልጆቻቸውን አስወጡ። አንዷ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። በዚያ ዕድሜ ትምህርት ቤት መቀየር ልብ ይሰብራል።

ስለዚህ ደመወዛችሁ በብር ከሆነ የመጀመሪያውን ዓመት ክፍያ አትዩ። ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 12ኛ ክፍል 14 ወይም 15 ዓመት ነው። ክፍያው በምን ገንዘብ እንደተተመነ፣ በየትኛው ቀን ምንዛሪ እንደሚሰላ በጽሑፍ ይዛችሁ ውጡ። የመመዝገቢያ፣ የማይመለስ የግንባታ መዋጮ፣ ሰርቪስ፣ ምሳ፣ የፈተና ክፍያ ለየብቻ ናቸው። ሁለተኛ ልጅ ካላችሁ የሁለቱን ደምሩ። ሒሳቡ ካልወጣ፣ ጥሩ የአገር ውስጥ ትምህርት ቤት ሳይቆራረጥ መማር ግማሽ መንገድ ላይ ከሚቋረጥ ኢንተርናሽናል ይሻላል ባይ ነኝ።

የአማርኛ ደብተር

አሁን ያቆየሁት ጉዳይ። እንግሊዝኛውን አቀላጥፎ የሚናገር፣ ግን የታክሲ ላይ ጽሑፍ የማያነብ የአዲስ አበባ ልጅ አይቻለሁ። ቤት ውስጥ አማርኛ ይሰማል። ሲመልስ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ወላጆቹ መጀመሪያ ኮሩበት፤ በኋላ አዘኑ። ከማንም በፊት ያዘኑት አያቱ ናቸው።

ስለዚህ ትምህርት ቤት ስትጎበኙ የአማርኛ ክፍለ ጊዜ በሳምንት ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ቤቱ አማርኛ የሆነውንና ከውጭ የመጣውን ልጅ ለይተው ያስተምራሉ ወይስ ሁሉንም አንድ ክፍል ያስቀምጣሉ? ከዚያ የ4ኛ ክፍል ተማሪ የአማርኛ ደብተር አሳዩን በሉ። ዓመቱ ተጋምሶ ደብተሩ አሁንም ሀ ሁ ብቻ ከሆነ መልሱን አገኛችሁ። ሙሉ አንቀጽ፣ የተስተካከለ ስህተት፣ የአስተማሪ አስተያየት ካለበት ደግሞ እዚያ ሰው አለ ማለት ነው። ከብሮሹሩ ይልቅ እኔ የማምነው ይህን ደብተር ነው።

በአይ.ቢ. ዲፕሎማ ሁለት ቋንቋዎችን በአፍ መፍቻ ደረጃ የወሰደ ልጅ የሁለት ቋንቋ ዲፕሎማ ያገኛል። አማርኛ ከእነዚህ አንዱ እንዲሆን መንገድ እንዳለ አስተባባሪውን ጠይቁ። አብዛኛው ወላጅ ይህን አይሰማም።

ከውጭ ለሚመለሱ ልጆች ምክሬ ሌላ ነው። ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ የመጣች የ12 ዓመት ልጅ መጀመሪያ ዓመት ላይ ፊደል፣ አዲስ ጓደኛና አዲስ ሥርዓተ ትምህርት በአንዴ አትሸከምም። ከለመደችው ጋር የሚቀራረብ ትምህርት ቤት ትግባ፤ አማርኛውን በሳምንት ሦስት ቀን ቤት በሚመጣ አስተማሪ ጀምሩላት።

አንድ የመጨረሻ ነገር፤ መንገዱን ራሳችሁ ንዱት። በሥራ ቀን፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ከቤታችሁ ተነሥታችሁ። ከሲኤምሲ ኦልድ ኤርፖርት ካርታው ላይ ቅርብ ይመስላል። ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ በየቀኑ ስንት ሰዓት መኪና ውስጥ እንደሚቀመጥ ታውቃላችሁ። ከሰዓት በኋላም ልጆቹ ሲለቀቁ በሩ ላይ ቆሙና በምን ቋንቋ እንደሚጫወቱ ስሙ። ቦታ ቶሎ ይሞላል፤ እነዚህ ትምህርት ቤቶች የሚከፍቱትም መስከረም ሳይጠባ፣ ነሐሴ ላይ ነው። የቀድሞውን ትምህርት ቤት የውጤት ማስረጃና የክትባት ካርድ ከአሁኑ አዘጋጁ።