ጓሳና አንኮበር፦ የሁለት ማደሪያዎችና የሁለት ደንቦች ግምገማ

ባለፈው ጥርና የካቲት በሰሜን ሸዋ ሁለት ቦታዎች አድሬ ተመልሻለሁ፤ አንደኛው በመንዝ የሚገኘው የጓሳ ማኅበረሰብ ሎጅ ሲሆን ሁለተኛው በአንኮበር ከተማ ለእንግዳ በአዳር የሚከራይ የግለሰብ ቤት ነው። ስለ ሁለቱ ቦታዎች ውበት ብዙ ስለተባለ እኔ ለመመዘን የፈለግሁት እንግዳን የሚያስተዳድረውን ደንብ ነው፤ ሰው ሻንጣውን ከማውረዱ በፊት ምን እንደሚከፍል፣ ምን እንደሚፈቀድለትና ምን እንደሚከለከል ያውቃል ወይስ አያውቅም የሚለውን ማለቴ ነው።

ወደ ጓሳ የሚሄድ መንገደኛ ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በጣርማ በር በኩል ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደውን መንገድ ይይዛል። ሥፍራው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚበልጥ በመሆኑ ብርዱ በጥር አጥንት ይሰብራል። ቦታ ለማስያዝ ስደውል የተነገረኝ አጭርና የማያሻማ ነበር፦ ምግብ ቤት ስለሌለ ስንቅ ይዞ መምጣት፣ ማብሰያ ክፍሉን ተጠቅሞ አጽድቶ መተው፣ ከአካባቢው አስጎብኚ ጋር ብቻ መንቀሳቀስ፣ ከሜዳው ሣርም ሆነ እንጨት አለመንካት። የመግቢያው፣ የአስጎብኚውና የማደሪያው ክፍያም ለየብቻ ተነግሮኝ ስለነበር እዚያ ስደርስ የምጠይቀው አዲስ ነገር አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ጭላዳዎቹን ለማየት ስንወጣ በርኖስ የደረቡ አንድ አዛውንት አብረውን ነበሩ። ፎቶግራፍ ለማንሳት ከመንገዱ ወጣ ብዬ ወደ ጓሳ ሣሩ ስገባ በዱላቸው ጫፍ ክንዴን ነካ አድርገው «ልጄ፣ ከዚህ አትለፍ፤ ሣሩ ገና አልተከፈተም» አሉኝ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ስለ ጓሳ ከማውቀው ሁሉ የበለጠ አስተማረችኝ። የመንዝ ሰው ይህን ሜዳ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» በሚባለው ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል፤ ሣሩ ለሦስት፣ ለአራት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጋና ሲደርስ በሽማግሌዎች ውሳኔ ተከፍቶ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ ይታጨዳል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያናጋውም ጥበቃው በኋላ በማኅበረሰቡ ምክር ቤት በኩል መልሶ ቆሟል፤ ቀይ ቀበሮም ዛሬ እዚያ የሚታየው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ በጓሳ እንግዳው የሚታዘዘው ባለ ሎጁ ራሱ የሚታዘዘውን ደንብ ነው፤ እኔም ደንቡን እንደ ክልከላ ሳይሆን እንደ ቤቱ ወግ ተቀበልሁት።

አንኮበር ታሪኩ ሌላ ነው። እዚህ ላይ የምናገረው በቀድሞው የምኒልክ ቤተ መንግሥት ኮረብታ ላይ ስላለው ሎጅ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ፤ እኔ ያደርሁት ከኮረብታው በታች፣ በከተማው ውስጥ፣ አንዲት እናት በሚያከራዩት ቤት ነው። ቤቱ በጭቃ የተለሰነ፣ ወለሉ የተጠረገ፣ አልጋው ላይ ሁለት የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ የተደራረበበት ነው። ማታ የገብስ ቆሎና ቡና ቀረበልኝ፤ ጎሕ ሲቀድም በሩ ላይ ቆሜ ቁልቁል እስከ አፋር ቆላ የሚዘረጋውን ጭጋግ አየሁ። ለመስተንግዶው ከአምስት አምስት እሰጣለሁ።

ችግሩ የመጣው ሒሳብ ላይ ነው። ከደላላው ጋር በስልክ የተስማማሁት ለአንድ ሌሊት 1,500 ብር ነበር፤ ጠዋት ግን ለሙቅ ውኃ፣ ለመኪና ጥበቃና አብሮኝ ላደረው ወንድሜ ተጨማሪ ክፍያ አለ ተባልሁ። እትዬን ስጠይቃቸው ፊታቸው በኀፍረት ቀላ፤ «እኔ የማውቀው እሱ የሚነግረኝን ነው ልጄ፤ ለእኔ የሚሰጠኝ 900 ብር ነው» አሉኝ። በዚህ በጣም አዘንሁ። ቤቱን የሚያጸዱት፣ ውኃውን የሚያሞቁት፣ ሌሊቱን እንግዳው ምን ይፈልግ ይሆን ብለው የሚያዳምጡት እርሳቸው ሆነው ሳለ ዋጋውን የሚቆርጠውና ደንቡን እንዳሻው የሚለዋውጠው በቦታው የሌለ ሰው ነው።

አንኮበር እንግዳን በሥርዓት የመቀበል ልምድ የሌለው አገር አይደለም። በ1841 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የሻምበል ሐሪስ የእንግሊዝ መልእክተኞች ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጡ የሚያስተናግዳቸው ቤተ መንግሥቱ ነበር፤ የንጉሥ እንግዳ ቀለቡ በድርጎ ይቆረጥለት ስለነበር ማን ምን እንደሚሰጠው ያውቃል።

የዛሬው ሕግ ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ አዳር የተሰፋ አይደለም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ እንዲመዘገብና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል፤ ይህ ቤተሰብ ይዞ ለሚኖር ተከራይ ጋሻ ሲሆን አርብ ገብቶ እሑድ ለሚወጣ መንገደኛ ግን አይሆንም። የባዕዳን ከተሞችን ደንብ እንዳለ መገልበጥም አይበጅም። ኒው ዮርክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2023 ጀምሮ ከ30 ቀን በታች የሚያከራይ ሰው እንዲመዘገብ፣ ራሱም በቤቱ እንዲገኝና ከሁለት እንግዳ በላይ እንዳይቀበል የደነገገችው፣ ባርሴሎናም ከ10,000 የሚበልጡ የቱሪስት አፓርታማ ፈቃዶችን እስከ 2028 ለማስቀረት የወሰነችው ነዋሪዎቻቸው የሚከራዩት ቤት ስላጡ ነው። የአንኮበር ሕመም ይህ አይደለም። ሆኖም ከኒው ዮርኩ ደንብ አንድ ነገር ቢወሰድ ደስ ይለኛል፤ አከራዩ በስሙ መመዝገቡንና በቤቱ መገኘቱን። እትዬ በስማቸው ቢመዘገቡና ዋጋቸው በራቸው ላይ ቢለጠፍ ደላላው የሚገባበት ቀዳዳ ይጠባል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ቤተሰብ ጓሳን አስቀድማለሁ፤ ስንቅና ወፍራም ልብስ ይያዝ፣ ከመነሳትም በፊት የመንገዱን ሁኔታ ይጠይቅ። አንኮበርን ግን አልተውኩትም። በየካቲት መጨረሻ ስመለስ በቀጥታ ለእትዬ ደውዬ የአልጋውን፣ የውኃውን፣ የመኪናውንና የቁርሱን ዋጋ አንድ በአንድ ጠየቅሁ፤ የነገሩኝንም ወዲያው በአጭር የጽሑፍ መልእክት መልሼ ላክሁላቸው። ልጃቸው አነበበችላቸው። ስደርስ መልእክቱን በደብተር ወረቀት ላይ ገልብጣ ከበሩ ጀርባ ለጥፋው አገኘሁ፤ እሑድ ጠዋት የከፈልሁትም በወረቀቱ ላይ ያለውን ብቻ ነው።