199.99 ዶላር፦ የአሜሪካ ተመራጮች መዝገብ ከድሬዳዋ ሲታይ

ሥራዬ የሰው ሒሳብ መያዝ ነው። ከዚራ አካባቢ ላሉ ሱቆችና ለጥቂት ትንንሽ ድርጅቶች መዝገብ እይዛለሁ፣ ደረሰኝ እሰበስባለሁ፣ የግብር ወቅት ሲደርስ አብሬያቸው እሯሯጣለሁ። ዛሬ የምጽፍለት አገልግሎት ለብዙ ሰው ደረቅ ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን አንዴ ከተከፈተ የማይዘጋ ነገር ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን ድረ ገጽ ነው፣ በአጭሩ ኤፍ ኢ ሲ የሚባለው፤ ተወዳዳሪዎች ለቅስቀሳ የሰበሰቡትንና ያወጡትን ገንዘብ የሚያሳይ። የተወካዮች ምክር ቤቱን የሀብት ማሳወቂያ ማህደርም አብሬ አነሳለሁ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ያላየ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የሚያየው።

ያስጀመረችኝ ቨርጂኒያ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ናት። ዜግነት ካገኘች ወዲህ ድምፅ ትሰጣለች፤ ምርጫ በደረሰ ቁጥርም ትደውላለች። «አንቺ ቁጥር ታውቂያለሽ፤ እስቲ ይሄ ሰውዬ ገንዘቡን ከየት እንዳመጣው እይልኝ» ትለኛለች። እሷ እዚያው ሆና የምትከፍተውን ገጽ እኔም ድሬ ቁጭ ብዬ እከፍተዋለሁ።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። የተወዳዳሪው ስም ይጻፋል፣ ገጹ ይመጣል። ገቢ ለብቻ፣ ወጪ ለብቻ። በአንድ የምርጫ ዘመን ከ200 ዶላር በላይ የሰጠ ሰው ስሙ፣ ከተማው፣ የሚሠራበት ቦታ ሳይቀር ይታያል። ወጪው ደግሞ ለማን፣ መቼ፣ ስንት፣ ለምን ተብሎ ይዘረዘራል። መመዝገብ የለም፣ የይለፍ ቃል የለም፣ ክፍያ የለም። ዝርዝሩን አውርዶ ኤክሴል ላይ መክፈት ይቻላል፤ ይሄን በጣም ወድጄዋለሁ። ስልክ ላይም ይሠራል፣ ግን ሰንጠረዡ ሰፊ ስለሆነ ዓይን ያደክማል። እኔ የምከፍተው ማታ ነው። ከሰዓት በኋላ የድሬ ሙቀት ቁጥር አያሳይም፣ ኔትወርኩም ያኔ ይንቀራፈፋል።

መዝገቡ ምን ሊያወጣ እንደሚችል ማየት የፈለገ የጆርጅ ሳንቶስን ፋይል ይክፈት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሳንቶስ ኖቬምበር 2022 ከኒውዮርክ ለተወካዮች ምክር ቤት ተመረጠ። ባሩክ ኮሌጅ ተመርቄያለሁ ብሎ ነበር፤ አልተመረቀም። ሲቲግሩፕና ጎልድማን ሳክስ የሚባሉት ትልልቅ ባንኮች ውስጥ ሠርቻለሁ ብሎ ነበር፤ አልሠራም። ኒውዮርክ ታይምስ ይሄን ዘርዝሮ ያወጣው ዲሴምበር 2022 ነው። ሰው ድምፁን ከሰጠ በኋላ ማለት ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ዲግሪው ሳይሆን ወጪው ነው። የቅስቀሳ ሪፖርቱ ላይ 199.99 ዶላር የሚል ቁጥር ይደጋገማል። ምግብ ቤት 199.99። እንደገና ምግብ ቤት 199.99። ሆቴል 199.99። ሕጉ ደረሰኝ ወይም ኢንቮይስ ያዙ የሚለው ከ200 ዶላር በላይ ለሆነ ወጪ ነው። ምግብ የበላ ሰው ሒሳቡ አንዴ 140 ይመጣል፣ አንዴ 263 ይመጣል። በተለያየ ቀን፣ በተለያየ ቦታ፣ ሁሌም ከመስመሩ በአንድ ሳንቲም ዝቅ የሚል ሒሳብ ግን በተፈጥሮ አይመጣም።

ሰንጠረዡን አትሜ ለአንድ ጎረቤታችን አሳየኋቸው። ከባቡር ድርጅት በጡረታ የወጡ የሒሳብ ሰው ናቸው፤ እንግሊዝኛው ብዙም አይሆንላቸውም፣ ቁጥር ግን ያነባሉ። መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው ወደታች ወረዱ። «አቦ ልጄ፣ እዚያ አገር ደረሰኝ የሚያስጠይቀው ስንት ላይ ነው?» አሉኝ። «ከ200 በላይ ሲሆን ነው ጋሼ» አልኳቸው። «እንግዲያው ይሄ ሰው ሕጉን በደንብ አንብቦታል» አሉና ወረቀቱን መለሱልኝ። ስለ ሰውየው ሌላ ምንም አልነገርኳቸውም ነበር።

ከዚህ የባሰው ብድሩ ነው። ለራሴ ቅስቀሳ ከራሴ ኪስ 500,000 ዶላር አበደርኩ ብሎ አስመዘገበ። አቃቤ ሕግ እንዳለው በዚያን ወቅት ባንክ ውስጥ የነበረው ገንዘብ 8,000 ዶላር እንኳ አይሞላም። የተፈለገው ፓርቲው ለጠንካራ ተወዳዳሪዎች የሚሰጠውን ድጋፍ ማግኘት ነበር። በወረቀት ላይ ሀብታም ሆኖ መታየት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ስላለ። ሳንቶስ ወንጀል ሆኖበት የተከሰሰው ዲግሪ አለኝ ብሎ መራጩን ስላታለለ አይደለም። የተከሰሰው በገንዘቡና በሞላቸው ፎርሞች ነው። አሜሪካ ውስጥ ፖለቲከኛ መድረክ ላይ ወጥቶ ስለራሱ ቢዋሽ ብዙውን ጊዜ ፍርድ ቤት አያደርሰውም። ካሊፎርኒያ ውስጥ አልቫሬዝ የሚባል የውሃ ቦርድ ተመራጭ የአገሪቱን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ ተሸልሜያለሁ ብሎ ዋሸ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2012 ፍርድ ቤቱ ውሸቱን ወንጀል ያደረገውን ሕግ ራሱን ከመናገር ነፃነት ጋር ይጋጫል ብሎ ጣለው። ይሄ ያናድደኛል፣ አልደብቅም። ምክንያቱ ግን ይገባኛል። የትኛው ንግግር ውሸት እንደሆነ መንግሥት ይወስን ከተባለ መጀመሪያ የሚታሰረው ማን እንደሆነ እናውቃለን። ስለዚህ እነሱ ጋ ውሸታም ተመራጭ የሚያዘው ሲናገር ሳይሆን ሲፈርም ነው። ይሄን አገልግሎት ትልቅ ነገር የሚያደርገውም ይኸው ነው። በአፍ የተባለውን አይመዘግብም፣ የተፈረመበትን ግን ማንም እንዲያየው አውጥቶ ያስቀምጣል።

አስቀምጦም ነበር። ኖርዝ ሾር ሊደር የሚባል የሎንግ አይላንድ ትንሽ ሳምንታዊ ጋዜጣ ሴፕቴምበር 2022 ላይ፣ ከምርጫው በፊት፣ የሳንቶስን የሀብት ማሳወቂያ አንብቦ ጽፏል። በ2020 ይሄ ነው የሚባል ንብረት ያላስመዘገበ ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ እስከ 11 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል የሚባል ሀብት አለኝ አለ። ጋዜጣው ይሄ ነገር እንዴት ነው ብሎ ጠየቀ። ተከትሎት የጠየቀ ትልቅ ሚዲያ አልነበረም፣ ሰውየውም ተመረጠ። ይሄን ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ያዝናል። ወረቀቱ እዚያው ነበር። በነፃ ነበር። የሚያነበው ሰው ነው ያነሰው።

ምክር ቤቱ በመጨረሻ ዲሴምበር 1 ቀን 2023 በ311 ለ114 ድምፅ አባረረው። ከዚያ በፊት የወጣውን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሪፖርት ማንም አውርዶ ማንበብ ይችላል፤ ደጋፊ ያዋጣው ገንዘብ ቦቶክስ በሚባል የፊት መሸብሸብ ማጥፊያ መርፌ ላይና ኤርሜስ በሚባል የቅንጦት ዕቃ ሱቅ ውስጥ እንደወጣ ይዘረዝራል። በምክር ቤቱ ታሪክ የተባረረ ስድስተኛው ሰው ነው። ከስድስቱ ሦስቱ በ1861 በእርስ በርስ ጦርነቱ ምክንያት የተባረሩ ናቸው። ማባረር ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል፣ ቀላል አይደለም። ኤፕሪል 2025 ላይ 87 ወር እስራት ተፈረደበት። ኦክቶበር 2025 ላይ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ቅጣቱን አንስተውለት ወጣ።

ይሄ ምሕረት የሚባለው ነገር አንድ ጊዜ ብቻ የሆነ አይደለም። ደንከን ሃንተር የሚባል የካሊፎርኒያ ተመራጭ የቅስቀሳ ገንዘብ ለቤተሰቡ ሲያወጣ ተያዘ። ከወጪዎቹ አንዱ የቤታቸው ጥንቸል በአውሮፕላን የተጓዘበት 250 ዶላር ነበር። ጥፋቱን አምኖ 11 ወር ተፈረደበት፤ ዲሴምበር 2020 ላይ ይቅርታ ተደረገለት። ሳንቶስም ሃንተርም ሪፐብሊካን ናቸው፤ የሪፐብሊካኖች ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ዴሞክራቱ ጄሲ ጃክሰን ጁኒየር በለጋሾች ገንዘብ 43,350 ዶላር የሚያወጣ በወርቅ የተለበጠ የሮሌክስ ሰዓት ገዝቶ 30 ወር ተፈርዶበታል። ሰዎች ከትንሽ ደሞዛቸው ቆርሰው የላኩት ገንዘብ ነው እንግዲህ። የአክስቴ ልጅም 25 ዶላር የላከችበት ጊዜ አለ፤ እንዴት እንደምትሠራ ስለማውቅ 25 ዶላር ለእኔ ትንሽ አይደለም።

አሁን ወደ ጉድለቱ። የተወካዮቹ የሀብት ማሳወቂያ ፎርም ትክክለኛ ቁጥር አይጠይቅም። ከ1,001 እስከ 15,000፣ ከ1,000,001 እስከ 5,000,000 እያለ በሰፊ ክልል ነው የሚያስሞላው። እኔ አንድ ነጋዴ ደንበኛዬን «ሀብትህ ከአንድ ሚሊዮን እስከ አምስት ሚሊዮን ድረስ ነው» ብለው መዝገቡን ነጥቆኝ ይሄዳል። በእጅ ተጽፈው ስካን የተደረጉም አሉ፤ እነሱን መፈለግ ራስ ያዞራል። በ2012 የወጣው ሕግ ተመራጮች ከ1,000 ዶላር በላይ የሆነ የአክሲዮን ግብይት ቢበዛ በ45 ቀን ውስጥ እንዲያሳውቁ ያዛል። ያዘገየ የሚቀጣው 200 ዶላር ነው። 200 ዶላር! በሚሊዮን የሚገበያይን ሰው ይሄ ምኑን ያስደነግጠዋል?

ኮሚሽኑ ራሱም ጥርሱ የላላ ነው። አባላቱ ስድስት ናቸው፤ ከአንድ ፓርቲ ከሦስት በላይ መሆን አይችልም፤ እርምጃ ለመውሰድ አራት ድምፅ ያስፈልጋል። ሦስት ለሦስት ሲሆኑ ጉዳዩ እዚያው ይቀራል። በ2025 ደግሞ አባላት ጎድለው ምልዓተ ጉባኤ እስከማጣት ደርሷል። ድረ ገጹ ግን ሪፖርት መቀበሉንና ማሳየቱን አላቆመም።

መዝገብ የማይደርስበትም አለ። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ቅርብ የሆነውን ልንገራችሁ። የኒው ጀርዚው ሴናተር ቦብ ሜኔንዴዝ የሴኔቱ የውጭ ግንኙነት ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበር። ጁን 2022 ላይ ቤቱ ሲፈተሽ ከ480,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብና የወርቅ ጡብ ተገኘ፤ ከገንዘቡ ጃኬት ኪስ ውስጥ የተወሸቀ ነበረበት። ክሱ ጉቦ ተቀብሎ ለግብፅ ጥቅም ሠርቷል የሚል ነው። ከጉቦው ታሪክ ጋር የተያያዘ የሐላል ሥጋ ጉዳይም አለበት፦ ከአሜሪካ ወደ ግብፅ የሚሄድ ሥጋ ሐላል መሆኑን የማረጋገጡ ሥራ ለአንድ ሰው ኩባንያ ብቻ ተሰጠ፣ ሴናተሩም ይሄ እንዳይነካ ባለሥልጣን ዘንድ ደወለ።

ክሱን እያነበብኩ ስወርድ የሕዳሴ ግድብ ላይ ደረስኩ። ሜኔንዴዝ ኤፕሪል 2020 ላይ ለገንዘብ ሚኒስትሩና ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ የግድቡ ድርድር መቆሙ እንዳሳሰበው ጽፎ ነበር። ክሱ ደብዳቤውን ከግብፅ ጋር በተያያዘው ታሪክ ውስጥ ነው ያስቀመጠው። ያኔ እዚህ ሰፈር ለግድቡ ቦንድ ያልገዛ ቤት ማግኘት ይከብድ ነበር፤ ሊስትሮው፣ ጡረተኛው፣ የቡና ሻጯ ሳይቀሩ ነው የገዙት። ዋሽንግተን ላይ የተጻፈ ደብዳቤ እኛን የሚነካው እንዲህ ነው። ጁላይ 2024 ላይ በ16ቱም ክሶች ጥፋተኛ ተባለ፣ ኦገስት ላይ ከሴኔት ለቀቀ፣ ጃንዋሪ 2025 ላይ 11 ዓመት ተፈረደበት። ይሄን ለአክስቴ ልጅ ስነግራት ዝርዝሩን እንኳ አልጠየቀችም፤ «በይ ክሱን ቶሎ ላኪልኝ» ነው ያለችው። ላክሁላት።

ይሄ ጉዳይ በተመራጮች ፎርም ብቻ ሊወጣ አይችልም ነበር። ፎርም ወርቅ አለኝ ቢል እንኳ ማን ሰጠህ ብሎ አያፋጥጥም። ለዚያ የሚያስፈልገው መርማሪ ነው። እንዲህ ዓይነት ክስ ሲወጣ የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል። ሙሉውን የፍርድ ቤት መዝገብ ለማየት ግን ፔሰር የሚባለው ሥርዓት ለአንድ ገጽ 10 ሳንቲም ያስከፍላል። በሦስት ወር ከ30 ዶላር በታች ላነበበ አያስከፍልም፤ ከዚያ በላይ ግን የውጭ ካርድ ለሌለን ለእኛ በሩ ተዘጋ ማለት ነው።

እኛም አገር የባለሥልጣን ሀብት ማስመዝገቢያ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 668/2002 (ይሄኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው)። አንድ ማታ እንዲሁ ስም ጽፌ፣ ሻይ እየጠጣሁ ባነበው ደስ ይለኛል። ለድሬም ለአዲስ አበባም የምመኘው ይሄንን ነው።

ለኤፍ ኢ ሲ ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ፣ ለሀብት ማሳወቂያው ሁለት ተኩል። ለማን ይሆናል? ሒሳብ ለሚማሩ ልጆች በጣም ጥሩ መለማመጃ ነው፤ እውነተኛ ሰው የሞላው እውነተኛ መዝገብ ነውና። አሜሪካ ዘመድ ያለው ሁሉም ሊሞክረው ይችላል፣ ድሬ ውስጥ ደግሞ የሌለው ጥቂት ነው። ሁሉም በእንግሊዝኛ ስለሆነ ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ስትከፍቱት ከገቢው በፊት ወጪውን እዩ። በቀን ሳይሆን በገንዘብ መጠን ደርድሩት፤ የሚደጋገም ቁጥር ያኔ ራሱ ወደ ላይ ይወጣል። ተወዳዳሪው ለራሱ ያበደረውን ፈልጉና ካስመዘገበው ሀብት ጋር አስተያዩት። በምርጫ ዓመት የሩብ ዓመት ሪፖርቶች የሚገቡት ኤፕሪል 15፣ ጁላይ 15 እና ኦክቶበር 15 ነው። ከምርጫው 12 ቀን በፊት የሚገባ አንድ ሌላም አለ። ዘመዳችሁ ድምፅ ከመስጠቱ በፊት ልትደውሉለት ከሆነ የኦክቶበሩን አትዝለሉት።