ለስምንት ሰው የሚሆን አርቪ፦ አልጋውን ሳይሆን ቀበቶውን ቁጠሩ

የአርቪው፣ ማለትም አልጋ፣ ማብሰያና መጸዳጃ ያለው የመኪና ቤት፣ ማስታወቂያ «10 ሰው ያስተኛል» ይላል። እኛ ስምንት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ አምስት ልጆቻችንና እናቴ። የሁለት ሰው ቦታ ይተርፈናል ብዬ ደስ እያለኝ ሄድኩ። መኪናው ያምራል። ሰውየው ሶፋውን ዘረጋ፣ ጠረጴዛውን ዝቅ አድርጎ አልጋ አደረገው፣ ከሾፌሩ በላይ ያለውን መኝታ አሳየኝ። እሱ አልጋ ሲቆጥር እኔ የወንበር ቀበቶ ቆጠርኩ። ስድስት ብቻ ነው።

«የቀሩት መንገድ ላይ የት ይቀመጣሉ?» አልኩት።

«ኋላ አልጋው ላይ ጋደም ይላሉ። ሁሉም እንደዛ ነው የሚያደርገው።»

አመስግኜው ወጣሁ። እኔ ሥራዬ ትራክ መንዳት ነው። ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ከገባሁ ጀምሮ አስራ አንድ ዓመት ነድቻለሁ። አይ-80 በሚባለው ሀይዌይ ላይ ተገልብጦ ያየሁትን መኪና ቆጥሬ አልጨርሰውም። ልጆቼን ያለ ቀበቶ አልጋ ላይ አስተኝቼ ሀይዌይ አልወጣም።

በመጨረሻ ያገኘነው ባለ 31 ጫማ ክላስ ሲ ነው፤ ኋላው ላይ ተደራራቢ አልጋ አለው። በ2023 ኦገስት ተከራይተነው ከኦሮራ የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ደርሰን ተመለስን። ሰባት ሌሊት፣ 1,240 ማይል። ልጅ በርከት ያለው ሰው ሳይከራይ ወይም ሳይገዛ በፊት ይህን ቢያነብ ብዬ ነው የምጽፈው።

ስለ ዓይነቶቹ ብዙ አልልም። ክላስ ኤ የሚባለው አውቶቡስ የሚመስለው ነው። ሰፊ ነው፣ ግን ውድ ነው። ክላስ ቢ ቫን ነው፤ ለባልና ሚስት እንጂ ለኛ አይሆንም። ክላስ ሲ ፊቱ የፎርድ ቫን ሆኖ ከኋላው ቤት የተሠራበት፣ ከሾፌሩ በላይ ግንባር የመሰለ መኝታ ያለው ነው። ክሩዝ አሜሪካ የሚባለው አከራይ ድርጅት ከሚያከራያቸው ትልቁ ባለ 30 ጫማ ነው፤ እሱም ለ7 ሰው ነው። በአንድ ሰው አመለጠን። ስለዚህ ከግለሰብ ተከራየን።

ተጎታችም ሞክረን ነበር። ከዚያ በፊት አንድ ክረምት የጓደኛዬን ተጎታች ተውሰን ወጣን። ለመኝታ ደስ ይላል። ችግሩ ሲጎተት ውስጡ ሰው መቀመጥ አይችልም። ኮሎራዶ ውስጥ ክልክል ነው፤ በብዙ ስቴቶችም እንደዛው። የምንጎትትበት መኪና ደግሞ አምስት ሰው ነው የሚይዘው። ባለቤቴ ሦስቱን በሌላ መኪና ይዛ ከኋላዬ መጣች። የሁለት መኪና ነዳጅ፣ የሁለት ሰው ድካም። ልጆቹም መንገዱን ሁሉ ተለያይተው ነው የሄዱት።

አሁን ወደ ቀበቶው ልመለስ፤ ቁጥሩ ብቻ አይበቃም። የኛው ክላስ ሲ ስምንት ቀበቶ አለው። ሁለት ፊት፣ አራት ጠረጴዛው ዙሪያ፣ ሁለት ሶፋው ላይ። የሶፋው ወደ ጎን የሚያይ ነው። ከጠረጴዛው አራት ውስጥ ሁለቱ ወደ ፊት፣ ሁለቱ ወደ ኋላ ያያሉ። የሕፃን ካርሲት ወደ ጎን በሚያይ ወንበር ላይ አይታሰርም፣ ወደ ኋላ በሚያየውም ላይ አይታሰርም። ስለዚህ ከኋላ ካሉት ስድስቱ ውስጥ ለካርሲት የሚሆኑት ሁለት ብቻ ናቸው። መንቶቹ ልጆቼ አራት ዓመታቸው ነው። ልክ ሁለት! ሦስተኛ ካርሲት ቢኖረን ይህ መኪና አይሆነንም ነበር።

ከመክፈሌ በፊት የወንበሩን ትራስ አንስቼ በስልኬ መብራት ከስሩ አየሁ። ቀበቶው የታሰረው እንጨቱ ላይ ነው ወይስ ብረቱ ላይ? የኛው ወፍራም ብረት ላይ በትልቅ ብሎን ታስሯል። ሌላ ቦታ ያየሁት አንዱ ኮምፔንሳቶ ላይ ነበር የተያዘው። አከራዩ ትራሱን አንስተህ አትይ ካለህ፣ ትተኸው ሂድ።

አቀማመጣችን እንዲህ ሆነ። እኔ እነዳለሁ። እናቴ ከጎኔ። መንቶቹ ጠረጴዛው ጋ ፊት ለፊት የሚያየው ላይ፤ ባለቤቴና የዘጠኝ ዓመቱ ትይዩአቸው። ሁለቱ ትልልቆቹ ሶፋው ላይ። እናቴን ፊት ያስቀመጥኳት ጉልበቷን ስለሚያማት ነው፤ እግሯን መዘርጋት አለባት። ደግሞ መንገዱን ማየት ትወዳለች። ዋዮሚንግ ውስጥ ራውሊንስን አልፈን ወደ ላንደር ከተማ ስንታጠፍ ሜዳው ላይ የሚሮጡ ሚዳቋ መሳዮች ስታይ እንደ ልጅ ነው ያጨበጨበችው።

ሁለተኛው ነገር ክብደት ነው። ይህን ብዙ ሰው አያየውም። በሩ አካባቢ አንድ ተለጣፊ ወረቀት አለ። ሰውና ዕቃ ተደምሮ ከዚህ ፓውንድ እንዳይበልጥ ይላል። የኛው 1,560 ይላል። ብዙ ይመስላል አይደል? ቤተሰቡን በሙሉ ሳሎን ውስጥ ሚዛን ላይ አወጣሁ። ስምንታችን 835 ፓውንድ ሆንን። የንጹሕ ውኃው ታንከር 40 ጋሎን ነው፤ አንድ ጋሎን ውኃ 8.3 ፓውንድ ገደማ ይመዝናል፤ ቢሞላ 332 ፓውንድ። የቀረው 393 ነው። እሱ ለምግብ፣ ለብርድ ልብስ፣ ለልብስ፣ ለድስት፣ ለሁሉም ነው። ባለቤቴ ያዘጋጀችውን ዕቃ ስደምረው ወደ 380 ደረሰ። ስለዚህ ውኃውን ግማሽ ብቻ ሞላን። ካምፕ ግራውንዱ ቧንቧ ስላለው ሙሉ ውኃ ተሸክሞ ተራራ መውጣት ምን ያደርጋል?

ላራሚ አጠገብ ትራክ ስቶፕ ገብቼ ካት ስኬል የሚባለው የመኪና ሚዛን ላይ አወጣሁት። ለትራክ የተሠራ ነው፣ ግን አርቪም ይመዝናሉ። 14,320 ወጣ። ይህ መኪና የተሠራበት የፎርድ ኢ-450 ሻሲ የሚፈቅደው 14,500 ነው። የቀረን 180 ፓውንድ ብቻ! የሰው ዓይን ይህን አያይም። ጎማው ግን ያየዋል፤ ፍሬኑም ያየዋል፤ በተለይ ቶግዎቲ ፓስ የሚባለውን የተራራ መተላለፊያ፣ 9,658 ጫማ ላይ ወጥታችሁ ቁልቁል ስትወርዱ።

አነዳዱን በተመለከተ፣ ትራክ ነጂ ነኝ ብዬ ቀላል መስሎኝ ነበር። አይደለም። ትራክ ሲታጠፍ ተሳቢው ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ክላስ ሲ ከኋላ ጎማው በስተኋላ ረጅም ጅራት አለው፤ ስትታጠፍ ጅራቱ ወደ ውጭ ይወረወራል። ራውሊንስ ነዳጅ ሞልተን ስንወጣ ባለቤቴ «ቁም!» ብላ ጮኸች። ከቢጫው ምሰሶ ጋር አንድ ስንዝር ነበር የቀረን። ከዚያ በኋላ ከየማደያው ስንወጣ ትልቁ ልጄ ወርዶ ያሳየኝ ነበር።

ነፋሱስ! አይ-80 ላይ በላራሚና በራውሊንስ መካከል፣ ኤልክ ማውንቴን ጋ፣ ነፋሱ ግድግዳውን እንደ ሸራ ይመታዋል። ቁመቱ ከ11 ጫማ በላይ ነው። ፍጥነቴን 55 ላይ አውርጄ ቀኜን ይዤ ሄድኩ። ነፋሱ ከበረታ ትራክ ስቶፕ ገብቶ መጠበቅ ነው፤ ልጆች ጭኖ መቸኮል የለም።

ወደ ቤቱ እንግባ። ይህን መኪና የወደድኩት በአንድ ነገር ነው፤ ማታ ማታ ጠረጴዛውን አፍርሰን አልጋ አላደረግነውም። እናቴና መንቶቹ ኋላ ያለው ትልቁ አልጋ ላይ፤ ሁለቱ መካከለኞች ተደራራቢው ላይ፤ ትልቁ ሶፋው ላይ፤ እኔና ባለቤቴ ከሾፌሩ በላይ። ጠረጴዛው ነጻ ነው። ልጆቹ ሲተኙ ቁጭ ብለን እናወራለን። ጠዋት እናቴ ስትነሳ ማንንም ሳትቀሰቅስ ዳዊቷን ትደግማለች። ተደራራቢ አልጋ በሌለው መኪና ስምንት ሰው ብታስተኛ ጠረጴዛው በየማታው ይፈርሳል፣ በየጠዋቱ ይሠራል፤ የተኛው ካልተነሳ ቁርስ የለም። ለሰባት ሌሊት ይህ ቀላል አይደለም።

ደግሞ ስትቆሙ ወደ ውጭ እየወጣ ክፍሉን የሚያሰፋው ግድግዳ ሳይወጣ መጸዳጃ ቤቱ ጋ መድረስ ይቻል እንደሆነ አስገቡ አስወጡ እያላችሁ ሞክሩት። አንዳንዱ ሲዘጋ ሶፋው ኮሪደሩን ይደፍነዋል። መንገድ ዳር ቆመህ የአራት ዓመት ልጅ «ሽንቴ» ስትልህ ያን ሁሉ መክፈት አትችልም።

ጉዟችን ፍልሰታ ላይ ነበር። ይህ ለካ ትልቅ እርዳታ ነው። ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ ሽሮና ምስር ነው። ፍሪጁ ትንሽ ስለሆነ ጾም ባይሆን አይበቃንም ነበር። ባለቤቴ 40 እንጀራ ይዛ ነበር። ግን የፍሪጁ መደርደሪያ ጠባብ ነው፤ እንጀራው ተዘርግቶ አይገባም። ማታውን ቁጭ ብላ አንድ በአንድ አራት ቦታ አጥፋ፣ አምስት አምስቱን በፕላስቲክ ጠቅልላ፣ እንደ መጽሐፍ ጎን ለጎን አቆመችው። እስከ ስድስተኛው ቀን አልሻገተም።

ቡናው ግን አስቸገረ። ላንደር ባደርንበት ማታ እናቴ ጋዙ ላይ ቡና መቁላት ጀመረች። ጭሱ ገና ብቅ ሲል አላርሙ ጮኸ። መንቶቹ አለቀሱ፣ ጎረቤት ያለው ሰው በሩን ከፍቶ አየን። እናቴ መጥበሻውን እንደያዘች «ምን አጠፋሁ?» አለች። ምንም አላጠፋሽም እማዬ። ከማግስቱ ጀምሮ በትንሿ የካምፕ ምድጃ ውጭ ቆላን። ጀበናው ቤቱ ውስጥ ይጣዳል፣ ለእሱ አላርም አይጮኽም። አላርሙን ባትሪ አውጥቶ ዝም ማሰኘት ግን እንዳይሞከር። ጋዝ የሚነድበት ቤት ውስጥ ነው ስምንት ሰው የሚተኛው።

መብራቱም ልክ አለው። የኛው 30 አምፒር ነው፤ በ120 ቮልት ሲሰላ 3,600 ዋት። ኤሲው ብቻውን ግማሽ ያህሉን ይወስዳል። ኤሲ፣ ማይክሮዌቭና የሻይ ማፍያ አንድ ላይ ስናበራ ብሬከሩ ወደቀ። ምጣድ ይዤ ልሂድ ብላ የምታስብ ካለች፣ መጀመሪያ ከምጣዱ ጀርባ የተጻፈውን ዋት ትይ፣ ስትጋግርም ኤሲውን ታጥፋ።

ከሁሉም የፈተነን ውኃ ነው። የሚገባው ሳይሆን የሚወጣው። የሻወሩና የዕቃ ማጠቢያው ቆሻሻ የሚጠራቀምበት ታንከር በሁለተኛው ማታ ሞላ፤ ሻወሩ ውስጥ ውኃ ወደ ላይ መመለስ ጀመረ። የሙቅ ውኃው ማሞቂያ 6 ጋሎን ነው፤ ከሁለት ልጅ በኋላ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ለብዙ ሰው ፍሳሽ ማስወገጃ መስመር ያለው ካምፕ ግራውንድ ያስፈልጋል። የሎውስቶን ውስጥ ውኃ፣ መብራትና ፍሳሽ ሁሉንም የያዘው ፊሺንግ ብሪጅ ነው። እዚያ ድንኳን አይፈቀድም፤ ድብ ስላለ ግድግዳው ጠንካራ የሆነ ብቻ ነው የሚገባው። የቆሻሻ ታንከሮቹን ስትደፉ መጀመሪያ የመጸዳጃውን፣ ቀጥሎ የሻወሩን፤ ያኔ ቱቦው በሳሙናው ውኃ ይታጠባል። ጓንት ያዙ።

የሎውስቶን ውስጥ ያልወደድኩት አንድ ነገር አለ። አንድ ነገር ለማየት በሄድን ቁጥር ቤቱ አብሮን ይሄዳል። ድስቱ ይታሰራል፣ ቁም ሳጥኑ ይዘጋል፣ የመብራቱ ገመድ ይነቀላል። ፍል ውኃ ወደ ላይ የሚፈነዳበት ኦልድ ፌይዝፉል ሰፊ መቆሚያ አለው። ሚድዌይ የሚባለው የፍል ውኃ ቦታ ጋ ግን ሁለት ጊዜ ዞሬ ቦታ አጣሁ፤ በማግስቱ ጠዋት 12 ተኩል ላይ ነው የገባነው። ያኔም ተሳካልን። እናቴ ከመሬት የሚወጣውን እንፋሎት አይታ ዝም ብላ ቆየችና «እንደ ሶደሬ ነው፤ ግን ማንም አይታጠብበትም» አለች። ክንዴን ይዛ በእንጨቱ መንገድ እስከ መጨረሻው ሄደች። በዚያ ጉልበት!

ወጪው ይኸው። ኪራይ በሌሊት 239፣ ለሰባት ሌሊት 1,673 ዶላር። ኢንሹራንስና ክፍያዎች 410። የዝግጅት 150። በቀን ከ100 ማይል በላይ ለነዳነው 243። ነዳጅ በጋሎን 8 ማይል ነው የሄደው፤ 620 ገደማ። በጠቅላላው 3,096፣ የካምፕ ግራውንድ ሳይጨምር። አዲስ ልግዛ ብትሉ ከ100,000 ዶላር በላይ ነው። በዓመት ሁለት ሳምንት ለምንወጣ ለኛ መከራየት ይሻላል። የፓርኩን መግቢያ አልከፈልንም፤ አራተኛ ክፍል ላለ ልጅ ነጻ ፓስ አለ፣ የዘጠኝ ዓመቱ ልጃችን አወጣልን። በሩ ላይ ወረቀቱን ለሬንጀሩ የሰጠው ራሱ ነው።

በሚቀጥለው ክረምት እህቴ ከነልጇ ከአዲስ አበባ ትመጣለች። አስር እንሆናለን። አስር ቀበቶ ያለው ክላስ ሲ እስካሁን አላየሁም። ስለዚህ 12 ሰው የሚይዝ ቫንና ተደራራቢ አልጋ ያለው ተጎታች እያየሁ ነው። ሁላችንም ቫኑ ውስጥ አንድ ላይ እንቀመጣለን፣ ተጎታቹን ካምፕ ላይ ጥለነው በቫኑ እንዞራለን። መጀመሪያ ግን ቫኑ ስንት ፓውንድ መጎተት እንደሚችል ከነሰዎቹ ማስላት አለብኝ። ሚዛኑን ሳሎን ውስጥ አውጥቼ አስቀምጫለሁ።