ዋየርጋርድ የተራራቁ ቅርንጫፎችን ለማገናኘት ምን ያህል ያስተማምናል?

የምሠራበት ድርጅት ከዋናው መሥሪያ ቤት ሌላ በተለያዩ ከተሞች የሚገኙ አምስት ቅርንጫፎች አሉት። የሂሳብ መዝገቡ፣ የግምጃ ቤቱ የዕቃ ዝርዝርና የሠራተኞች ማኅደር የሚገኙት በዋናው መሥሪያ ቤት ሰርቨር ላይ ስለሆነ፣ በየቅርንጫፉ ያሉ ባልደረቦቻችን ጠዋት ኮምፒውተራቸውን ከፍተው ሥራ መጀመር የሚችሉት በኢንተርኔት ላይ የተዘረጋው የግል መስመር፣ ማለትም ቪፒኤኑ፣ ሲሠራ ብቻ ነው። ይህን መስመር ለረጅም ጊዜ በአይፒሴክ፣ ማለትም በቀድሞው የቪፒኤን ስልት፣ ስናስኬድ ቆይተን፣ ከአምስቱ ቅርንጫፎች አራቱን ወደ ዋየርጋርድ ካዛወርን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፤ ዋየርጋርድ ቢሮን ከቢሮ ለማገናኘት እስካሁን ከሠራሁባቸው መሣሪያዎች ሁሉ የላቀ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሆኖም ሲበላሽ ምን እንደነካው አይናገርም፤ የአድራሻውን፣ የቁልፉንና የሰዓቱንም ጉዳይ ሙሉ በሙሉ ለአስተዳዳሪው ይተዋል።

ዋየርጋርድ ጄሰን ዶነንፌልድ የጀመረው ነፃ ሶፍትዌር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ከወጣው የሊኑክስ ከርነል (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) 5.6 ጀምሮ የከርነሉ አካል ሆኗል። ሲቀርብ የኮዱ መጠን ወደ 4,000 መስመር ገደማ ነበር፤ አንድ ብርቱ ባለሙያ ተቀምጦ ከዳር እስከ ዳር ሊመረምረው የሚችል መጠን ነው። የምስጠራውን ዓይነት እንድንመርጥም አይጠይቅም። መረጃው የሚመሰጠረው በቻቻ20 እና ፖሊ1305፣ የቁልፍ ልውውጡ የሚካሄደው በከርቭ25519 ሆኖ ተወስኖ የመጣ ነው። በአይፒሴክ ዘመን ሁለቱ ራውተሮች በምስጠራው ስልት፣ በቁልፉ ርዝመትና በሚታደስበት ጊዜ ካልተስማሙ መስመሩ አይነሳም ነበር፤ በተለይ የአንዱ ጫፍ ራውተር ከሌላው የተለየ ምርት ሲሆን ቀኑ የሚያልቀው የሁለቱን ቅንብር ጎን ለጎን አስቀምጦ በማነጻጸር ነበር። ያ ሥራ አሁን ሙሉ በሙሉ ቀርቶልኛል።

አተካከሉ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ራውተር የራሱን የግል ቁልፍና ከእሱ የሚወጣውን ይፋዊ ቁልፍ ያመነጫል። ይፋዊው ቁልፍ 44 ፊደላት ያሉት አንድ መስመር ጽሑፍ ነው። የቅርንጫፉን ይፋዊ ቁልፍ በዋናው መሥሪያ ቤት፣ የዋናውን ደግሞ በቅርንጫፉ መመዝገብ፣ ከዚያም በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር የትኞቹ የአይፒ አድራሻዎች እንደሚፈቀዱ መጻፍ ነው። ይህ የተፈቀዱ አድራሻዎች ዝርዝር ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ወደ ውጭ የሚወጣው ፓኬት (በመስመሩ የሚጓዝ የመረጃ ጥቅል) ለየትኛው ቅርንጫፍ እንደሚላክ ይወስናል፣ ወደ ውስጥ የገባው ፓኬት ደግሞ በእርግጥ ከዚያ ቅርንጫፍ ሊመጣ የሚገባው መሆኑን ይፈትሻል። በዚህ ምክንያት አንድን የአድራሻ ክልል ለሁለት ቅርንጫፎች መስጠት አይቻልም፤ ቢሰጥም በኋላ የተመዘገበው ከፊተኛው ይነጥቀዋል።

እኛን ያደከመን ይኸው ነበር። ሁለት ቅርንጫፎች ራውተራቸው ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን 192.168.1.0 ክልል እንዳለ ሲጠቀሙ ኖረዋል። ቀደም ሲል አድራሻ በሚተረጉም ሕግ ሸፍነነው ስለነበር ማንም አላስተዋለውም። አሁን ግን እንደ አዲስ ለዋናው መሥሪያ ቤት 10.20.0.0፣ ለመጀመሪያው ቅርንጫፍ 10.20.1.0፣ ለሁለተኛው 10.20.2.0 እያልን ደለደልን። ኮምፒውተሮቹ አድራሻቸውን በራሳቸው ስለሚወስዱ አላስቸገሩም፤ በእጅ አድራሻ የተሰጣቸውን ፕሪንተሮችና የደኅንነት ካሜራዎች አንድ በአንድ እያደኑ መቀየር ግን ዋየርጋርድን ከመትከሉ ሥራ ይልቅ ብዙ ጊዜ ወሰደብን። አሁን የሚጀምር ሰው ሶፍትዌሩን ከመንካቱ በፊት የአድራሻ ድልድሉን በወረቀት ላይ እንዲጨርስ አጥብቄ እመክራለሁ።

ፍጥነቱን በተመለከተ፣ የቅርንጫፎቻችን ራውተሮች ትንንሽና የምስጠራ ሥራን የሚያቀል ልዩ የፕሮሰሰር ክፍል የሌላቸው ናቸው። ቻቻ20 ለእንደዚህ ዓይነት ፕሮሰሰር የሚመች ስለሆነ ልዩነቱ ከመጀመሪያው ቀን ታይቷል፤ ከሰርቨር ላይ ትልቅ ሰነድ ሲከፈት ፕሮሰሰሩ ጣሪያ መንካቱን ትቷል። የበለጠ ያስደሰተኝ ግን የቅርንጫፉ የኢንተርኔት አድራሻ ሲቀየር መስመሩ አለመቋረጡ ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት በትክክለኛው ቁልፍ የተረጋገጠ ፓኬት ከአዲስ አድራሻ እንደደረሰው መልሱን ወደዚያው ይልካል። በተቃራኒው የሚቀየረው የዋናው መሥሪያ ቤት አድራሻ ከሆነ፣ ቅርንጫፎቹ ስሙን ወደ አድራሻ የሚተረጉሙት ሲነሱ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ አሮጌውን አድራሻ ሲጠሩ ይውላሉ። ስለዚህ በማዕከሉ ቋሚ የአይፒ አድራሻ መያዝ ይገባል።

ስለ ዝምታው ልመለስ። ዋየርጋርድ ከሚያውቀው ቁልፍ ላልመጣ ፓኬት ምንም መልስ አይሰጥም፤ ከውጭ ሆኖ ፖርት (ፕሮግራሙ የሚያዳምጥበትን በቁጥር የሚለይ በር) ለሚያንኳኳ ሰው በዚያ ፖርት ላይ ምንም ያለ አይመስልም። ለደኅንነት ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን አንድ ጠዋት መብራት ጠፍቶ ከተመለሰ በኋላ አራተኛው ቅርንጫፍ አልገናኝ አለ። ኢንተርኔቱ ይሠራል፤ ቁልፉም ፖርቱም ትክክል ነው፤ የመጨረሻው ሃንድሼክ (ሁለቱ ጫፎች ቁልፍ ተለዋውጠው የሚተዋወቁበት) መቼ እንደተደረገ የሚያሳየው መስመር ግን ትናንት ላይ ቆሟል፤ የስሕተት መልእክትም የለም። ከብዙ ልፋት በኋላ የራውተሩን ሰዓት ሳየው ወራት ወደኋላ ተመልሷል። ራውተሩ ሰዓት የሚያስጠብቅ ባትሪ የለውም። ዋየርጋርድ ደግሞ የተጠለፈ አሮጌ መልእክት መልሶ እንዳይላክበት እያንዳንዱ ሃንድሼክ የላኪውን ሰዓት እንዲይዝ ያደርጋል፤ ቀደም ሲል ከተቀበለው ሰዓት ወደኋላ የቀረውን አይቀበልም። ከሁሉም የከፋው ራውተሩ ሰዓቱን እንዲያስተካክል ያዘዝኩት ከዋናው መሥሪያ ቤት ሰርቨር፣ በዚሁ በተዘጋው መስመር በኩል መሆኑ ነበር። ሰዓቱን ከቪፒኤኑ ውጭ ካለ የሰዓት ሰርቨር እንዲወስድ ካደረግሁ በኋላ ችግሩ አልተደገመም።

ሌላው ጊዜ የሚያባክነው የፓኬት መጠን ነው። ዋየርጋርድ ከተለመደው 1500 ባይት ላይ ለራሱ መጠቅለያ 80 ቀንሶ 1420 ላይ ይሠራል። የቅርንጫፉ መስመር 1492 ብቻ የሚያሳልፍ ከሆነ ቁጥሩ ወደ 1412 መውረድ አለበት። ምልክቱ አሳሳች ነው፤ ፒንግ (መስመሩ መኖሩን የሚፈትሽ ትንሽ መልእክት) ያልፋል፣ አጫጭር ገጾች ይከፈታሉ፣ ከበድ ያለ ሰነድ ሲላክ ግን መሐል ላይ ይደርቃል። ከዚህ ሌላ ቅርንጫፉ ኤንኤቲ (የውስጡን አድራሻ ወደ ውጭ አድራሻ የመተርጎም ሥራ) በሚሠራ መሣሪያ ጀርባ ከሆነ መንገዱ እንዳይዘጋበት በየ25 ሰከንዱ ትንሽ ፓኬት እንዲልክ ማዘዝ ይበቃል።

ዋየርጋርድ የማያደርገውንም አውቆ መግባት ያስፈልጋል። የተጠቃሚ ስም፣ የይለፍ ቃልም ሆነ ሁለተኛ ማረጋገጫ የለውም፤ ማንነት ማለት ቁልፉ ነው። ራውተር ቢሰረቅ ይፋዊ ቁልፉን ከማዕከሉ መዝገብ መሰረዝ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ የትኛው ቁልፍ የየትኛው ቢሮ እንደሆነ የሚመዘግብ ሰው ከሌለ ግን አይቻልም። ቁልፍ የሚያድልም ክፍል ስለሌለው ስድስት ቢሮዎችን እርስ በርስ በቀጥታ ለማያያዝ 15 መስመር በእጅ መመዝገብ ይጠይቃል። እኛ ሁሉም በማዕከሉ እንዲያልፉ አድርገናል፤ ማዕከሉ ሲወድቅ ሁሉም እንደሚወድቁ አውቀን ሁለተኛ ራውተር በተጠንቀቅ አስቀምጠናል። መስመሩ ተመሰጠረ ማለት በውስጡ የሚያልፈው ሁሉ ይታመናል ማለት ስላልሆነም፣ ከቅርንጫፍ ወደ ሰርቨሩ ለሥራ የሚያስፈልጉትን ፖርቶች ብቻ በፋየርዎል (የሚያልፈውን በሚቆጣጠረው ማጣሪያ) ከፍተናል። ብዙ መቶ ሠራተኞች ከየቤታቸው በየግል መለያቸው የሚገቡበት ድርጅት ግን ዋየርጋርድን ብቻውን ይዞ ባይጀምር እመርጣለሁ።

አምስተኛው ቅርንጫፍ ያልተዛወረው በፍላጎት ማጣት አይደለም። ዋየርጋርድ የሚጓዘው በዩዲፒ (ፓኬት መድረሱን ሳያረጋግጥ በሚልክ የማጓጓዣ ስልት) ብቻ ሲሆን፣ ቢሮው የሚገኝበት ሕንፃ የጋራ ኢንተርኔት ደግሞ ዩዲፒን አያሳልፍም። በዚያ ኦፕን ቪፒኤን የተባለውን ሌላ የቪፒኤን ሶፍትዌር በቲሲፒ (መድረሱን እያረጋገጠ በሚልክ ስልት) አስኬደናል፤ ቀርፋፋ ቢሆንም የሂሳብ ሥራቸውን ያሠራቸዋል። የራሱ መስመር የገባለት ዕለት ቁልፉ ተዘጋጅቶ፣ 10.20.5.0 ተይዞ ይጠብቀዋል።