በአንድ እጅ የሚገለጥ ዳዊት

ዳዊት የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያየው ማኅደሩን ነው። ቆዳው ያምራል ወይ፣ መስቀሉ በደንብ ተሠርቷል ወይ። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። በአንድ እጅ ይገለጣል ወይ?

ኩላሊቴ ሥራ አቁሟል። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ እጥበት አለብኝ። አንዱ ዙር አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። መርፌው የሚገባው ግራ እጄ ላይ ስለሆነ ያ እጅ ንቅንቅ አይልም። ገጽ የሚገልጠው ቀኙ ብቻ ነው።

ዳዊቱን የገዛሁት ፒያሳ፣ ጊዮርጊስ አካባቢ ካሉት የንዋየ ቅድሳት ሱቆች ካንዱ ነው። መጠኑ መካከለኛ፣ አማርኛ ብቻ፣ ፊደሉ ጎላ ያለ። 650 ብር ከፈልኩ። ከመዝሙሩ ቀጥሎ ጸሎተ ነቢያት፣ መኃልየ መኃልይና ውዳሴ ማርያም አሉበት። ግዕዝና አማርኛው ጎን ለጎን ያለበትን ትልቁንም ሞክሬዋለሁ። ለቤት ግሩም ነው። ሆድ ላይ አስደግፈው ሲያነቡት ግን ክብደቱ አይቻልም። የኪሱ ደግሞ ፊደሉ ቁንጫ ያክላል። በስልክም አለ፣ ያውም በነጻ። ግን ሁለት መስመር ሳልዘልቅ ቴሌግራም ይጮሃል፣ ዘመድ «እንዴት ዋልክ» ይላል፣ ጸሎቱም እዚያው ይቀራል።

የዚህኛው ትልቁ ቁም ነገር ጥራዙ በክር መሰፋቱ ነው። በሙጫ ብቻ የተጣበቀ መጽሐፍ ገልጠው ሲያስቀምጡት መልሶ ይከደናል። ይሄ ግን ጭን ላይ ተዘርግቶ ይቆያል፣ ገጹም በአውራ ጣት ይገለጣል። የደም ግፊቴ ሲወርድ ፊደል ይደበላለቅብኛል። ያኔ የጎላ ፊደል ዋጋው ይገባኛል።

ዳዊት የሚደግሙ ሰዎች እንደሚያውቁት መዝሙሩ ለሳምንቱ ቀናት የተከፋፈለ ነው። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130 ይደርሳል። እኔን የያዘኝ የረቡዑ ነው። 68ኛው መዝሙር ላይ «ጉሮሮዬም ሰለለ» ይላል።

እጥበት ላይ ያለ ሰው ውሃ እንደልቡ አይጠጣም። ኩላሊት ማውጣት ያቃተውን የሚያወጣው ማሽኑ ነው። እስከሚቀጥለው ዙር የተጠጣው ሁሉ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል። እግር ያብጣል፣ ሲብስም ሳንባ ውስጥ ገብቶ ትንፋሽ ያሳጥራል። ስለዚህ የቀን ውሃዬን ጠዋት በጠርሙስ እለካለሁ። ከሰዓት በኋላ ምላሴ ከላንቃዬ ይጣበቃል። ሎሚ እመጥጣለሁ። ጨው ውሃ ስለሚያስጠማ ወጡ አልጫ ብቻ ሳይሆን ውሃ ውሃ የሚል ሆኗል፤ ባለቤቴ ትስቅብኛለች።

እንግዲህ እንዲህ ሆኜ ነው «ጉሮሮዬም ሰለለ» የምለው። ያው መዝሙር ዝቅ ብሎ «ለጥማቴም ሆምጣጤ አጠጡኝ» ይላል። በዮሐንስ ወንጌል ጌታ መስቀል ላይ ሆኖ «ተጠማሁ» አለ፣ ያቀረቡለትም ሆምጣጤ ነው። ይህ በሽታ ለምን እኔን እንደመረጠ ዳዊት አልነገረኝም። ጥማቴን ግን ጌታ ቀምሶታል። ይህን እያሰብኩ ነው የረቡዑን አራት ሰዓት የምጨርሰው።

ሁሉም መዝሙር እንዲህ አይዋጥልኝም። ዓርብ 118ኛው አለ፣ 176 ቁጥር ያለው፣ ከሁሉ ረጅሙ። እዚያ ውስጥ መቸገሬ መልካም ሆነልኝ የሚል ቃል አለ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በአፌ እደግመዋለሁ እንጂ ገና ከልቤ አላልኩትም። ሊጠይቁኝ የሚመጡ ሰዎች ግን ይወዱታል። «ሊያስተምርህ ብሎ ነው» ይሉኝና ማኪያቷቸውን ሊጠጡ ይወርዳሉ። ለእኔ የሰኞው 12ኛ ይሻለኛል። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ ፊት ለፊት ይጠይቃል። እንዲህ ተብሎም ይጸለያል ማለት ነው። ይህን ማወቅ ስንት ነገር ያቀላል መሰላችሁ።

ከጎኔ የሚታጠቡት ጋሼ ፕሮቴስታንት ናቸው። እኔ 68 ስል የእሳቸው 69 ነው። እኛ የሰባ ሊቃናቱን፣ ማለትም የጥንቱን የግሪክ ትርጉም ቆጠራ ስንከተል የእሳቸው መጽሐፍ የዕብራይስጡን ስለሚከተል ነው። «ዛሬ የት ደረስክ ልጄ?» ሲሉኝ አንድ ጨምሬ እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸውም ያወጡታል።

«ጠበል ግባና እጥበቱን ተወው» ያሉኝም አልጠፉም። የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው። «ጠበሉንም ጠጣ፣ ሐኪምህንም ስማ። ላንተ አንዲት ጉንጭ ትበቃሃለች» አሉኝ። ያቺንም ጉንጭ ከጠርሙሴ ላይ እቀንሳታለሁ።

ወደ ዕቃው ልመለስ። እንከን አለው። ወረቀቱ ስስ ስለሆነ የጀርባው ጽሑፍ ያሳያል። ቀዩ ቀለም አልኮል ሲነካው ይለቃል፤ ሆስፒታል ውስጥ እጅ ሁልጊዜ አልኮል ነው፣ የእኔ ቅጂ ላይ ስንት ቦታ ተለቃልቋል። እጃችሁ እስኪደርቅ ጠብቁ። ዕልባቱም አንድ ብቻ ነው፣ አንዱን ለውዳሴ ማርያም ቢጨምሩ ምን ነበረበት! መጀመሪያ የተሰጠኝ ቅጂ ደግሞ አንዱ ጥራዝ ተገልብጦ የተሰፋ ነበር። ባለሱቁ ያለ ክርክር ለወጠልኝ። እናንተ ግን እዚያው ቆማችሁ የመዝሙሩን ቁጥር እስከ 150 ገረፍ ገረፍ አድርጋችሁ እዩት።

ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። አብሮት የሚሸጠውን የቆዳ ማኅደር ግን አትግዙ። ይጠባል፣ በአንድ እጅም አይወጣም። ዚፕ ያለው የጨርቅ ቦርሳ ይሻላል፣ ርካሽ ነው፣ ይታጠባል።